ከዝርዝሩ አስራ አንደኛው ፕሮግራም

ልብስ ሰፊዋ ከሱቅ ቤቷ ገብታ ቦርሳዋን እንኳን ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ላይ ተደፋች። ያው ነው። «ባካፑ አልተጠናቀቀም። ዲስኩ አልተገኘም።»

«እንዴት ነው የማይገኘው?» ብላ ስክሪኑ ላይ ጮኸች። «ይኸው አጠገብህ ተቀምጦ! ዓይን የለህም?»

ዲስኩ እውነትም አጠገቡ ነው። መጽሐፍ የሚያክል ጥቁር ሳጥን፣ የራሱ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለው፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ መብራት ቁልጭ ቁልጭ የሚል። ምሳ በልታ ስትወጣ እንደተወችው ነው። ይሄ እንግዲህ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስተኛው ፕሮግራም መሆኑ ነው።

ነገሩ የመጣው ኮምፒውተሩ ቀጭ ቀጭ ማለት የጀመረ ቀን ነው። የኮምፒውተር ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና፣ ልክ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ ውስጡ ያለው ዲስክ ሊሞት ነው። ዛሬ ይሁን የዛሬ ወር አላውቅም። ሌላ ዲስክ ግዢና፣ በየቀኑ ራሱ ባካፕ የሚያደርግ፣ ሥራሽን ወደዚያ የሚገለብጥ ፕሮግራም ምረጪና ጫኚበት። ብቻ ቶሎ።»

ቶሎ! ውስጡ ያለው የዘጠኝ ዓመት ድካሟ ነው። የየደንበኛው ልክ፣ በእጇ የሳለችው የየልብሱ ቅድ፣ ፎቶው፣ ሁሉም። በዚያ ላይ የነርሶች ማሰልጠኛው ትእዛዝ አለ፤ አርባ ሦስት ተማሪ፣ አርባ ሦስት ዩኒፎርም። ልካቸውን ወረቀት ላይ ወስዳ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገብታ፣ ወረቀቱን ቀዳድዳ ጥላዋለች።

ምክር ከተፈለገ ወንድሟ አለ። አንድ ሲጠይቁት ሰባት ስለሚመልስ ቤተሰቡ «ፕሮፌሰር» ነው የሚለው። እሱም አስራ አንድ ፕሮግራም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ የደረደረበት፣ በየቀለሙ የተቀባ ሰንጠረዥ ላከላት።

«የትኛውን ልጫን?» አለችው በስልክ።

«እሱ እንደ ፍላጎትሽ ነው።»

«ፍላጎቴማ ሥራዬ እንዳይጠፋብኝ ነው።»

«አይ፣ እሱማ ሁሉም ያደርገዋል። በየጊዜው ሙሉውን ይገልብጥ ወይስ የተለወጠውን ብቻ? ይቆለፍ አይቆለፍ? ስንት ቀን ወደ ኋላ...»

«አንተ ሰው! ቀሚስ ሊያሰፋ የመጣን ሰው መርፌው ከምን ብረት ይሁንልህ እለዋለሁ እንዴ? አንድ ስም ጥራልኝ!»

ጠራላት። አንደኛው ገና ሳይጀምር በጥያቄ አደከማት፤ በማግስቱ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ አገኘችው። ያውም አንዴ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛው ሁሉን ነገር በኢንተርኔት ወደ ሩቅ አገር የሚልክ ነው፤ የእነሱን ቤት ኢንተርኔት ሲያይ «ቀሪ ጊዜ፦ አርባ አንድ ቀን» አላት። ሳቀች፣ ከንዴት ብዛት። በእጇ ልትገለብጥ ሞከረች፤ ዲስኩ ከማርጀቱ የተነሳ አራት ሰዓት ይፈጃል፣ ሱቅ ደርሳ ስትመለስ እሱም ተቋርጧል። ሦስተኛው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ ይነሳል ተባለ፤ ይኸው፣ ተነስቶም «አልተገኘም» ይላል።

«ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጧል!» አለችና ወንበሩን ገፍታ ተነሳች።

«ምን ሆነሽ ነው ልጄ?» አሉ አማቷ ከሳሎን። የባሏ አባት ናቸው። ባሏ ረጅም መንገድ የሚነዳ ሹፌር ስለሆነ፣ አብዛኛውን ቀን ቤቱ የእሷና የእሳቸው ነው።

«ምንም አባባ። ይሄ ማሽን ነው አንጀቴን የሚያሳርረው።»

በማግስቱ ከምሳ በኋላ ሱቅ ደርሳ ቦርሳዋን ስትከፍት ለደንበኛ ያዘጋጀችውን ኮሌታ ቤት ረስታዋለች። እየተነጫነጨች ተመለሰች። በሩን ስትከፍት አባባ ጠረጴዛው ሥር ናቸው፤ የሚታየው ጫማቸውና የሱሪያቸው ጀርባ ብቻ ነው።

«አባባ! ወደቁ እንዴ?»

«ኧረ ምን ወደቅሁ!» እያቃሰቱ ወጡ። እጃቸው ላይ የጥቁሩ ሳጥን ገመድ ተንጠልጥሏል፣ አረንጓዴው መብራት ጠፍቷል።

አሁን ገባት። የአባባን ሕግ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ያውቀዋል። ሠላሳ አራት ዓመት ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ተሰክቶ በተረሳ ነገር የተቃጠለ ቤት በዓይናቸው አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለበት ክፍል ሶኬት ላይ ምንም ነገር አያድርም፣ አይውልም። ከምሳ በኋላ እየዞሩ ይነቅላሉ። ምሕረት ያገኘው ፍሪጁ ነው፤ ኮምፒውተሩን ደግሞ እሷ ለምና አስምራዋለች።

«አባባ፣ ኮምፒውተሩን አይንኩብኝ ብዬ...»

«መች ነካሁት? እሱ ይኸው በርቷል። ይቺን ቻርጀር ነው እንጂ። እንደ ካውያ እኮ ነው የምትግለው!»

«በየቀኑ ነው የሚነቅሏት?»

«በየቀኑ ነዋ። አንቺ ልትመጪ ስትይ ደግሞ መልሼ እሰካልሻለሁ፣ ደክሞሽ ገብተሽ እንዳታጎነብሺ ብዬ።» አሉና ምርቃት እንደሚጠብቅ ሰው አዩዋት።

ደሟ ፈላ። ባሏ ቢሆን ጎረቤት እስኪሰማ ትጮህበት ነበር። ወንድሟ ቢሆንማ ሳጥኑ ራሱ ላይ ነበር የሚያርፈው። አማት ናቸው፤ ምን ትበል? ምላሷን ነከሰች።

«ቻርጀር አይደለችም አባባ። ኮምፒውተሩ ሊሞት ነው፣ ሥራዬ ሁሉ ወደ እሷ ነው የሚገለበጠው።»

«ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?»

«ምኑን ልንገርዎ? ፕሮግራሙን አይደል እንዴ እኔ የምረግመው!»

«እሺ፣ አጥፍቻለሁ። ግን ሰው በሌለበት አትሰካም።»

«ለአራት ሰዓት ብቻ...»

«ለአራት ደቂቃም።»

ወደ ፕሮፌሰሩ ደወለች። «ስማ፣ ዲስኩ ሲሰካ ራሱ የሚጀምር፣ ሲነቀል ደግሞ ካቆመበት የሚቀጥል አለ?»

«አለ፣ ግን እሱን ተይው። የመጨረሻው፣ አስራ አንደኛው ነው። መልኩ ራሱ ሲያስጠላ...»

«ላገባው ነው እንዴ? ላከው!»

ጫነችው። አንድም ነገር አልጠየቃትም። ከዚያ ወደ አባባ ዞረች።

«ሕጉ ሰው በሌለበት ነው አይደል?»

«አዎን።»

«ሰው ካለስ?»

አባባ አገጫቸውን እያሻሹ አሰቡ። ከዚያ ሄደው ከሳሎን ወንበራቸውን እየጎተቱ አመጡና፣ ጥቁሩ ሳጥን ፊት ለፊት እንደ ዘብ ተቀመጡ። ገመዱን ራሳቸው ሰኩት። መብራቱ ቁልጭ አለ።

አስራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ሱቅ ውስጥ ስልኳ ጮኸ።

«አልነካሁም!» አሉ አባባ፣ ገና ሃሎ ሳትል። «በአንድ ልጄ እምላለሁ አልነካሁም! እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ራሱ ነው፤ ሲንገጫገጭ ቆየና ጸጥ አለ።»

ጠጋኙ በማግስቱ አዲስ ዲስክ አስገብቶ ሳጥኑን ሰካው። ዘጠኙ ዓመት አለ! ፎልደር በፎልደር ተደርድሯል። ልብስ ሰፊዋ እየከፈተች ወረደች፣ ወረደች፤ የነርሶች ማሰልጠኛው ጋ ስትደርስ የለም። ሦስት ጊዜ ፈለገችው። ፕሮግራሙ ከአሮጌው ሥራዋ ተነስቶ ወደ አዲሱ እየገለበጠ ሲመጣ፣ ከመቶ ዘጠና አራት ላይ ነው የተቀጨው።

«የአርባ ሦስት ሰው ልክ እኮ ኢምንት ናት» አለ ፕሮፌሰሩ ሲሰማ። «ለምን በፍላሽ አልያዝሻትም? ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም ነበር።»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። እውነቱን ነው፤ ያናደዳትም እሱ ነው።

አባባ በር ላይ ቆመዋል። «ያን ሁለት ሳምንት ባልነቅላት ኖሮ...»

«ይተዉት አባባ። አብዛኛው ተርፏል» አለች። ተርፏል፤ ግን አልቀለላትም። ወደ ማሰልጠኛው ደወለች።

«እንዴ፣ ባለፈው ወር መጥተሽ ለክተሻቸው የለም?» አለች የተማሪዎች ኃላፊዋ።

«ለክቼ ነበር።»

«ታዲያ? ልጆቹ እኮ ለልምምድ በየሆስፒታሉ ተበትነዋል። ስድስት ሆስፒታል ነው ያሉት።»

ልብስ ሰፊዋ ወረቀትና እስክሪብቶ ሳበች። «እሺ» አለች፣ «የመጀመሪያው የቱ ነው?»