የጄኔራሉ ጥላ ያዥ

ሙላውን ውሸታም የሚሉት አሉ። ሐሜት ነው። ውሸታም ከምንም ተነሥቶ ይዋሻል፤ ሙላው ግን እውነቱ ሲያጥርበት ብቻ ትንሽ ጨርቅ ይቀጥልበታል። በስደት በሚኖርባት በቻምብሊ ያለው ቬትናማዊው ልብስ አስተካካይ ሚስተር ቱዋንም የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ እሱን ማን ውሸታም አለው?

ሁለቱን ያስተዋወቃቸው የሙላው ሆድ ነው። ሙላው የሆቴል እንግዳ ማመላለሻ ሻትል ይነዳል። በየስድስት ወሩ የዩኒፎርሙ ሱሪ አልዘጋም ሲለው ቱዋን ሱቅ ይገባና ሱሪው እስኪሰፋ ወሬ ይሰፋል።

ባለፈው መስከረም ታዲያ ሲገባ ሽማግሌውን ተክዞ አገኘው።

"ምነው ሚስተር ቱዋን፣ ደኅና አይደሉም?"

ቱዋን ከአፉ መርፌ እያወጣ ነገረው። የሰፈሩ ቬትናሞች የተዘጋ የፍራሽ መደብር ገዝተው ለጄኔራል ትራን ሁንግ ዳው መታሰቢያ ቤተ መቅደስ አድርገውታል። ጄኔራሉ የሞንጎልን ጦር ከአገራቸው ያባረረ ነው። ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት አልፎታል፤ እነሱ ግን በሞተበት ቀን በየዓመቱ ድግስ ደግሰው ያስቡታል።

"ሰባት መቶ ዓመት ተዝካር?" አለ ሙላው። "እኛ እኮ በሰባተኛው ዓመት አውጥተን እፎይ እንላለን።"

ዘንድሮ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የጄኔራሉን ሐውልት በትከሻ በሚነሣ ዙፋን አድርገው ፓርኪንጉን ሊያዞሩት አስበዋል። የቱዋን እናት ዘጠና ሦስት ዓመታቸው ነው። በልጅነታቸው በመንደራቸው ይህን አይተዋል፤ "አንድ ጊዜ ደግሜ ልየውና ይበቃኛል፣ ከዚያ እሄዳለሁ" ብለዋል። የት እንደሚሄዱ ለመጠየቅ የደፈረ የለም። አሁን ግን የጄኔራሉን ጥላ የሚይዘው ሰውዬ እጁ ተሰብሯል። ጎረምሶቹ ቅዳሜ ሺፍት አላቸው። ያለ ጥላ ደግሞ ጄኔራል አይወጣም፤ ነውር ነው።

ሙላው ባዶ ቦታ አይቶ ዝም ማለት አይችልም።

"ጥላ ነው ያሉኝ? ሚስተር ቱዋን፣ እኔ እኮ በጥምቀት የደብሩን ትልቁን ጥላ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ሳላወርድ የያዝኩ ሰው ነኝ። በሁለተኛው ቀን እርግብ መጥታ ጫፉ ላይ ጎጆ ሠራች። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ከነጫጩቶቿ ነው የገባነው።"

ቱዋን መነጽሩን አወለቀ፤ ጠረገ፤ አደረገ።

"ቅዳሜ በአራት ሰዓት ና" አለው። የሱሪውንም ዋጋ አልቀበልም አለ። ሙላው ነገሩ የምር መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው።

ማታ ለሚስቱ ለአበባ ሲነግራት የምትከትፈውን ሽንኩርት ተወችው።

"አንተ ጥላ ይዘህ ታውቃለህ? በዝናብ እንኳ የምይዝልህ እኔ ነኝ። በጥምቀት ሸንኮራ ስትመጥ አይደል እንዴ የምትውለው?"

"ሸንኮራውም ረጅም ነው እኮ።"

"ደግሞ ጣዖት ቤት ልትገባ!"

"ተዝካር ነው አበባዬ።"

ይህኛው ግን ሙላውንም ከነከነው። ለንስሐ አባቱ ደወለ። አባ ሁሉንም ሰምተው ጠየቁት።

"ሰውየው ከሞተ ሰባት መቶ ዓመት ሆኖታል ነው ያልከኝ?"

"አዎ አባ።"

"እንግዲህ ፀሐዩ አያስቸግረውም። እናቲቱን ግን የጥላው መቅረት ያስቸግራቸዋል። ሂድ፣ ለጎረቤትህ ብለህ ያዝ። እንዳትሰግድ። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ፣ መጥተህ ጄኔራሉ ሲሰግድልኝ አየሁ እንዳትለኝ።"

ቅዳሜ አበባን ይዞ ሄደ። መኪናውን ፎ ከሚባለው ሾርባቸው ቤት ፊት ፓርክ አደረገና ጫማቸውን አውልቀው ቤተ መቅደሱ ገቡ። ፍራሽ ይደረደርበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ቀያይ ምሰሶዎች ቆመዋል፤ ጄኔራሉ ጺሙን አንዠርግጎ፣ ሰይፉን ታጥቆ፣ ከብርቱካንና ከማንጎ ክምር ጀርባ ተቀምጧል። ሙላው ግን ዓይኑ ግድግዳው ጥግ ላይ ቀረ። ቀይ ሐር፣ የወርቅ ዘርፍ፣ ዙሪያውን የሚንጠለጠል ፈትል።

"አበባ፣ ይቺማ የኛ ናት" አለ በሹክሹክታ። "ማን አመጣት?"

"ዝም በልና ያዛት" አለችው፤ እሷም ግን ዓይኗን መንቀል አልቻለችም።

ያዛት። ጥላዋ ስትታይ ሐር ናት፣ ስትነሣ ግን የመብራት እንጨት ሆነችበት። እናቲቱ ሰማያዊ የሐር ቀሚስ ለብሰው፣ ተሽከርካሪ ወንበራቸው ላይ ሆነው ከእግሩ እስከ ራሱ ተመለከቱት። ለሳቸው እጅ ነሣ፤ ለአዛውንት እጅ መንሣትን አባ አልከለከሉም።

ዙፋኑን የሚሸከሙት ስምንት ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው ልጅ የሚባለው ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለ ቱዋን። "ጥላው ከጄኔራሉ ራስ አይለይም። አንተ በሄድክበት ይከተሉሃል።"

ከበሮው ተመታ። ወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሃያ እርምጃዎች እንደ ሠርግ አማሩ። ሙላው ደረቱን ነፋ፤ ስለ እርግቧ የነገረው እውነት መስሎ ተሰማው። ልክ በሃያ አንደኛው ከፍሎሪዳ የተረፈ አውሎ ነፋስ የሰፈሩን አውራ መንገድ፣ ቢፎርድ ሃይዌይን፣ ተሻግሮ መጣ። ጥላውን ከነሰውየው አነሣ።

ሙላው እግሩ መሬት አልነካም የሚሉ አሉ። ይህ ማጋነን ነው፤ ሁለት ጊዜ ነክቷል። ፎ ቤቱን አልፎ፣ የጥፍር ቀለም መደብሩን አልፎ፣ ጎማ ቤቱ ጋ ደረሰ። ሊለቃት አሰበ፤ ከለቀቃት ግን ጥላዋ አውራ መንገዱ ላይ ትወድቃለች፣ እናቲቱ የጠበቁት ቀንም አብሯት ይወድቃል። ጥርሱን ነክሶ አንቆ ያዛት። ዘወር ብሎ ቢያይ ጉድ ነው፤ ስምንቱ ሽማግሌዎች ጄኔራሉን ተሸክመው፣ እንደ ውርንጫ እየዘለሉ ከኋላው ናቸው። ጥላው በሄደበት ተብለዋላ። ጉልበቱን ያሠራው ይሮጣል፤ ልቡ ላይ ማሽን ያለው ይሮጣል፤ ከበሮ መቺው ከነከበሮው ይሮጣል። ጎማ ቤቱን ሁለት ጊዜ ዞሩት። አበባ ባሏ ሊሞት መስሏት መጮህ ስትጀምር ጩኸቱ ጉሮሮዋ ላይ ወደ እልልታ ተለወጠባት። የቬትናም ሴቶች አንድ ጊዜ ሰምተው ተቀበሏት፤ አንዷማ ከአበባ በለጠች።

ከዚያ ነፋሱ ተወው። ሙላው ከነጥላው የእናቲቱ ወንበር ፊት ዱብ አለ፤ ስምንቱም ጄኔራሉን ይዘው ከኋላው ተገተሩ። ከጥላው አንዱ ጎን ተተርትሯል።

አለቀልኝ፣ አለ ሙላው በልቡ። የሰው ተዝካር አበላሸሁ።

አንዲት አሮጊት ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋ ተቀበለች። ቱዋን የሙላውን ትከሻ ጨመደደ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

"ዙፋኑ በረረ" አለ። "በአገራችን ጄኔራሉ እጅግ ደስ ሲለው ዙፋኑ ራሱ ይሮጣል ይባላል። ሳያዩት የሚሞቱ አሉ። እኔ ራሴ አይቼ አላውቅም ነበር።"

ሙላው ተንጠራውዞ ቆመ። እንዲህ ያለ ወሬ ሳይለፋ እጁ ሲገባ በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ቢፈልግ ጄኔራሉ በጆሮው ያንሾካሾከለትን መጨመር ይችል ነበር። የሽማግሌውን እንባ አይቶ ግን አቃተው።

"ሚስተር ቱዋን፣ ነፋስ ነው። ጥላ ይዤ አላውቅም። እርግብም አልነበረችም።"

ቱዋን ለተሸካሚዎቹ ተረጎመላቸው። "ትሑት ሰው" ተባባሉና በየተራ ጨበጡት። ማለ፤ ተገዘተ፤ አበባን ምስክር ጠራ። አበባ ደግሞ ሴቶቹ ከበዋት እልልታ እያስተማረች ነበር።

እናቲቱ በጣታቸው ጠሩት። ጎንበስ ሲል ጆሮውን ይዘው ብዙ ተናገሩ። ቱዋን ሲሰማ ፊቱ ቀላ።

"እናቴ የምትለው... ጥላ መያዝ እንደማትችል ገና ስታነሣው ነው ያወቅኩት ትላለች። የሚያውቅ ሰው ቢይዘው ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለስ ነበር፤ ጄኔራሉን ሰባት መቶ ዓመት እንደዚያ ሲወስዱት ሰልችቶታል አለች።"

"ይቅር ይበሉኝ ብለው ይንገሩልኝ" አለ ሙላው አንገቱን ደፍቶ።

ቱዋን ተናገረ። እናቲቱ እጃቸውን አወናጨፉ፤ ደግመው አንድ ነገር አሉ። ቱዋን ለመተርጎም አፉን ከፈተና ዘጋው፤ እናቱን አያት፤ ከዚያ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው እስኪነቀነቅ ሳቀ።

"ምን አሉ?"

"የሚመጣው ዓመት እኔ ከፊት ነው የምቀመጠው፣ ዛሬ የጎማ ቤቱ ግድግዳ ከልሎብኛል አለች። የምትይዘውም አንተ ነህ። እስከዚያ ግን አደራ፣ እንዳትለማመድ።"