ሳይሞላ የወጣው አውቶቡስ

በዚያ መነኸሪያ የጸና ሕግ አንድ ብቻ ነበር፤ መኪና ሳይሞላ አይወጣም። ማን እንደ ደነገገው የሚያውቅ የለም፤ የትም ተጽፎ አልተገኘም። ይሁን እንጂ ከተጻፉት ሕጎች ሁሉ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነበር። ተሳፋሪው እንደ ምድጃ በጋለ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ፣ ላቡን እየጠረገ፣ የጎረቤቱን ትንፋሽ መልሶ እየተነፈሰ፣ የመጨረሻው ወንበር ሰው እስኪያገኝ ይጠብቃል። ወንበሩ ሲሞላ ደግሞ መተላለፊያው እስኪሞላ ይጠበቃል። ሥራ የረፈደበት ይረፍድበታል፤ ሐኪም የቀጠረው ቀጠሮው ያልፈዋል። ቅር የተሰኘ ሰው እንኳ ቅሬታው ከንፈር ከመምጠጥ አያልፍም። ሰው በደልን ለረጅም ጊዜ ከለመደው እንደ ወበቁና እንደ ከሰዓቱ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስለዋል።

ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ቀድሞ የገባ ብዙ ስለሚጠብቅ ባዶ አውቶቡስ ውስጥ መግባት የሚወድ የለም። ሁሉም ጥላ ሥር ቆሞ ሌላው እስኪገባ ያያል። ይህን ያወቁት የተራ አስከባሪዎች «ማሟያ» የሚሏቸውን ሰዎች አሰማርተው ነበር። የማሟያ ሥራ መቀመጥ ነው። ተሳፋሪ መስሎ፣ ቦርሳ ታቅፎ፣ አንዳንዴም እያንቀላፋ ይቀመጣል። እውነተኛው ተሳፋሪ «ሊሞላ ነው» ብሎ ሲገባ ማሟያው ቀስ ብሎ ይወርድና ወደሚቀጥለው አውቶቡስ ያልፋል። ከእነሱ መካከል በዚህ ሥራ ያረጁ፣ ዕድሜያቸውን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጠው ጨርሰው አንድም ቀን የትም ያልሄዱ ነበሩ።

የመነኸሪያው የተራ አለቃ ቀኑን ሙሉ «ሙላ! ሙላ!» እያሉ ስለሚጮኹ «ጋሼ ሙላ» ይባላሉ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፋት ከሌለው ሰው የሚመጣ ጉዳት ግን ለተጎጂው አይቀልለትም።

የወደቡን መንገድ ከሚሠሩት አውቶቡሶች አንዷን የምትነዳው ሴት ነበረች። አውቶቡሷን ከታናሽ ወንድሟ ጋር ከአባታቸው ወርሰዋታል። እሷ ትነዳለች፤ እሱ በረዳትነት በሩ ላይ ይቆማል። የሁለት ቤት እንጀራ የተንጠለጠለው በዚያች አንዲት መኪና ላይ ነበር።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ መኪናዋ ልትሞላ ጥቂት ሲቀራት፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የነበረች ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ስታ ወደቀች። ሹፌሯና ወንድሟ ተሸክመው አወረዷት፤ ጥላ ሥር አስተኝተው ውኃ አፈሰሱባት። ሴትየዋ ገና ዓይኗን ሳትገልጥ የጋሼ ሙላ ድምፅ ከበላይ ተሰማ።

«አንድ ሰው ወርዷል! አንድ ሰው ግባ!»

አንድ ሰውም ገባ። ሴትየዋ ነቅታ ዘመዶቿ ወሰዷት፤ ምንም አልሆነችም። ሹፌሯን ግን አንድ ድምፅ እስከ ወደብ ድረስ ተከተላት። ጆሮዋ ላይ የቀረው የአለቃው ጩኸት አልነበረም። የቀረው በዚያ ጩኸት ላይ ሰተት ብሎ ገብቶ የሴትየዋን ወንበር የያዘው ሰው የእግር ኮቴ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንድሟ ቤት ገባችና ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ትልቁን ሰዓት አወረደች። ወንድሟ ፊቱን ታጥቦ ሳይጨርስ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደ ጣለ መጣ።

«እትዬ፣ ሰዓቱን ወዴት ነው?»

«የመኪናዋ የፊት መስታወት ላይ ልሰቅለው። ፊቱን ወደ ውጭ አዙሬ።»

«መኪናዋ ሰዓት መቁጠር ጀመረች?»

«ሰው ይቁጠር። ከዛሬ ጀምሮ በየሰዓቱና በየግማሽ ሰዓቱ እንወጣለን። ሞላ፣ አልሞላ፣ እንወጣለን።»

ወንድሟ ሳቀ፤ የእሷን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ባዶ ወንበር ይዘን ለማን ልንዞር? ለነፋስ?»

«ወንበሩ መንገድ ላይ ይሞላል። ከዚህ እስከ ወደቡ ባሉት ፌርማታዎች ላይ ሰው ቆሞ አይተህ ታውቃለህ?»

«የሚቆምለት መኪና የታለና!»

«የማንቆመው እኮ ሞልተን ስለምንወጣ ነው። ሰዉ በፀሐይ ወደ ኋላ ተጉዞ መነኸሪያ ይመጣል፤ እንደ ዶሮ ታጉሮ ይጠብቃል፤ ከዚያ በገዛ ደጁ በኩል እናሳልፈዋለን። ይኼ የጤነኛ ሥራ ነው?»

«ጋሼ ሙላ ከተራ ያስወጡናል። ያኔ ልጆቼን ምን ላበላ ነው? የሰዓት ቆጣሪ?»

ሚስቱ ሳህን እያጠበች ዘወር ብላ ሁለቱንም አየቻቸው። «እኔን የጠየቀኝ የለም እንጂ፣ ሰዓቱን ከወሰዳችሁት ይኼ ሰውዬ ሲያመሽ ምን አይቼ ልቆጣው ነው?»

«ሳይመሽ ይገባልሻል» አለች ሹፌሯ፤ ሰዓቱን አቅፋ ወጣች። ወንድሟም እያጉረመረመ ተከተላት።

የመጀመሪያው ቀን ውርደት ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በመኪናዋ ውስጥ የነበሩት አንድ አዛውንትና አንድ ጆንያ ነበሩ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ መነኸሪያው በፉጨት ተናጋ። «ነፋስ ጭና ወጣች!» አለ አንዱ ሹፌር። «እሜቴ ባቡር! ፉርጎውን ረሳሽው!» አለ ሌላው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «እሜቴ ባቡር» ሆነ።

በየፌርማታው ቆመች። ወንድሟ በሩን ከፍቶ ለባዶ እግረኛ መንገድ «ወደብ! ወደብ!» እያለ ተጣራ። አንድ ዕቃ አጣቢ ሴት ግራ ገብቷት አየችው፤ ከዚያ ወደ መነኸሪያው መንገዷን ቀጠለች። ወደ መኪናዋ ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራት።

«አየሽ?» አለ ወንድሟ፤ «በሩ ሥር ያለውን ትታ እዚያ ድረስ ልትሰለፍ ሄደች!»

«ስንቴ ተታላለች፣ በአንዴ እንዴት ትመነን? ነገም እንቆማለን።»

በማግስቱም ቆመች፤ በሠልስቱም። አንዲት ነርስ ገባች፤ ቀጥሎ ሁለት የጋራዥ ሠራተኞች ገቡ። ነርሷ «ነገም በዚሁ ሰዓት ናችሁ?» ብላ ጠየቀች። ሹፌሯ «ከነገ ወዲያም» ስትላት ነርሷ እንደ ቀልድ ቆጥራው ሳቀች። ተስፋ የሚሰጥ ነገር ነበር፤ ቤት የሚያኖር ግን አልነበረም። ወንድሟ ማታ ማታ ወንበሮቹን ጠርጎ ሲያበቃ የዕለቱን ገቢ ደጋግሞ ይቆጥር ጀመር።

ጋሼ ሙላ በመጨረሻ ጠሯት። ከበሩ አጠገብ ባለችው የቆርቆሮ ቢሮ ውስጥ ቆርቆሮው በሙቀት እየተንጣጣ እሳቸው በካርቶን ያራግቡ ነበር።

«ልጄ፣ አባትሽ ወዳጄ ነበር። ተራ ማለት ተራ ነው። አንቺ ባዶሽን በወጣሽ ቁጥር እዚህ የተቀመጠው ተሳፋሪ "እኔስ ለምን እጠብቃለሁ?" ይላል።»

«ቢልስ ጋሼ?»

«ቢልስ? ሥርዓት ይፈርሳላ!»

«ሰው በሙቀት እንዲወድቅ የሚያደርግ ሥርዓት ቢፈርስ ማን ያለቅሳል?»

ካርቶኑ ቆመ። «እስከ ዓርብ ወደ ልብሽ ተመለሽ። አለዚያ ተራሽን እሰርዘዋለሁ። ያን ጊዜ በዚህ በር አትገቢም።»

ዓርብ ጠዋት ጋሼ ሙላ ሊሰርዟት ብቻ ሳይሆን ሊያስቁባትም ቆርጠው መጡ። ማሟያዎችን በሙሉ ሰብስበው የእሷ መኪና ውስጥ አስገቧቸው። ዘዴው ቀላል ነበር፤ ወንበሩን ሁሉ ይይዛሉ፤ እውነተኛው ተሳፋሪ «ሞልቷል» ብሎ ያልፋል፤ ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ሁሉም ግር ብለው ይወርዳሉ፤ እሷም በሰው ሁሉ ፊት ባዶዋን ትቀራለች። ማሟያዎቹ እንደ ልማዳቸው ቦርሳ ታቅፈው ተቀመጡ። አንዳንዶቹ አንቀላፉ። እነሱ የተቀመጡበት አውቶቡስ ያለ አለቃው ጩኸት ተንቀሳቅሶ ስለማያውቅ ዓይናቸው የነበረው እሳቸው ላይ ነበር፤ ሰዓት የቆጠረ አልነበረም። ጋሼ ሙላም «ውረዱ» ለማለት የሚመለከት ሰው እስኪበዛላቸው ጠበቁ። ጥቂት አበዙት።

ሰዓቱ ደረሰ። ሹፌሯ «በሩን ዝጋ» አለች። ወንድሟ አንድ ጊዜ ማሟያዎቹን፣ አንድ ጊዜ እህቱን አየና በሩን ዘጋው።

መኪናዋ ከበሩ ወጥታ ጥጉን ታጠፈች። ከዚያ ጩኸቱ ቀለጠ።

«እኅቴ! ኧረ እኅቴ! እኛ እኮ ተሳፋሪ አይደለንም!»

«ታዲያ ምንድን ናችሁ?» አለች በመስታወቱ እያየቻቸው።

ተያዩ። ይህን ጥያቄ ጠይቋቸው የሚያውቅ አልነበረም። በመጨረሻ አንዱ አንገቱን ደፍቶ «ማሟያ ነን» አለ።

«ጥሩ። ሞልታችኋል፤ እንሂድ።»

ወንድሟ ከበሩ እጀታ ጋር ተጣብቆ በሳቅ ፈረሰ። በመጀመሪያው ፌርማታ ጥቂቶቹ እየተራገሙ ወረዱ፤ በሁለተኛው ሌሎቹ። በመንገዱ ላይ ሁሉ ሁለት ሁለት፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ ተንጠባጠቡ። ሹፌሯ ለእያንዳንዳቸው «ስመለስ አነሣችኋለሁ፣ ማዶ ቁሙ» እያለች የምትመለስበትን ሰዓት ነገረቻቸው።

ከሁሉ ያረጁት ማሟያ ግን አልወረዱም። «አባባ፣ አይወርዱም?» ቢላቸው ወንድሟ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ወደብ ወደብ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እስቲ ልየው» አሉት። ደርሰው በመስኮት ሲያዩ ክሬኖቹን፣ ዘይት የለበሰውን ውኃ፣ የተደረደሩትን ሣጥኖች በጥሞና መረመሩ። «ይኼ ነው?» አሉ። «እኔ የሚበልጥ ነገር መስሎኝ ነበር።» ያም ሆኖ አንገታቸውን ከመስኮቱ አልመለሱም።

ያልታሰበው ነገር በመልሱ ጉዞ ታየ። እነዚያ ማሟያዎች በሌላ ነገር የተካኑ አልነበሩም፤ አንድ ነገር ግን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ መኪና ሊሄድ ነው የሚያሰኝ አኳኋን። በየፌርማታው ማዶ ተሻግረው ሲቆሙም የቆሙት እንደ ሥራቸው ነው፤ ቦርሳ ታቅፈው፣ መንገዱን እያዩ፣ እርግጠኛ መስለው። አላፊው ይጠይቃል።

«ምን ትጠብቃላችሁ?»

«አውቶቡስ።»

«እዚህ ይቆማል እንዴ?»

«በሰዓቷ ነው የምትመጣው፤ ተወን እባክህ!»

ሰው ሰው ባለበት ይቆማል። መኪናዋ ስትመለስ ለዘመናት ባዶ በነበሩት ፌርማታዎች ላይ ሰው ቆሞ አገኘች። ያቺ ዕቃ አጣቢም ከመካከላቸው ነበረች። ማሟያዎቹ ከልማዳቸው የተነሣ ለእውነተኛው ተሳፋሪ ወንበራቸውን እየለቀቁ መተላለፊያው ላይ ቆሙ። አውቶቡሷ ወደ መነኸሪያው ስትገባ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞልታ ነበር፤ ማንም ሳይታጎርባት።

ጋሼ ሙላ በሩ ላይ ጠበቋት።

«ሠራተኞቼን ይዘሽብኝ ጠፋሽ!»

«ገቡ፤ ተቀመጡ፤ ሰዓት ደረሰ፤ ወጣሁ። ያስቀመጧቸው እርስዎ ነዎት።»

«ተራሽ ተሰርዟል!»

«ይሰረዝ።»

አለቃው ወደ ወንድሟ ዞሩ። «አንተ የልጆች አባት ነህ። እባክህ ምከራት!»

ወንድሟ ወደ አለቃው ጠጋ አለ። ሁሉም የሚለምናቸው መሰላቸው። «መክሬያት ነበር ጋሼ» አለ፤ «መልሳ መከረችኝ።» ከዚያ የተራዋን ታፔላ ከፊት መስታወቱ ሥር ነቅሎ በሁለት እጁ አስረከባቸው።

ሰኞ ጠዋት የመነኸሪያው በር ለእሷ ዝግ ነበር። ከበሩ ውጭ፣ አፍንጫዋን ወደ ወደቡ አዙራ፣ የዘይት መጋዘኑን ግንብ ተጠግታ አቆመች። ነርሷ መጣች፤ የጋራዡ ሰዎች መጡ፤ ሌሎችም ከግቢው እየወጡ ገቡ። ወንበሮቹ ግማሽ እንኳ አልሞሉም።

ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ጋሼ ሙላ ከበሩ ወጥተው መኪናዋ ፊት ቆሙ። እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘረጉ።

«እስቲ ውጪ! በእኔ ላይ ሂጂ!»

ሞተሩ ተነሣ። አለቃው አልተነቃነቁም። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ «እንውረድ መሰለኝ» አለ።

«የሚወርድ የለም» አለች ሹፌሯ። ራሷን በመስኮት አወጣች። «ጋሼ፣ እንኳን እርስዎን፣ ድመት አልገጭም። ግን በሰዓቴ እወጣለሁ።»

ማርሹን ወደ ኋላ አስገባች። ወንድሟ ነገሩ ገባው፤ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ሮጠ፤ እጁን እያወናጨፈ «ነይ! ነይ! ቀኝ ያዢ! ነይ!» እያለ ብስክሌቱንና ጋሪውን ከመንገድ አስወገደ። አውቶቡሷ እስከ ማዕዘኑ ድረስ ፊቷን ወደ አለቃው እንዳደረገች እያፈገፈገች ሄደች። ማዕዘኑ ላይ ታጠፈች፤ በመጋዘኑ ጀርባ ዞራ ዋናውን መንገድ ያዘች።

ጋሼ ሙላ እጃቸውን እንደ ዘረጉ ቀሩ። ከጀርባቸው፣ ከግቢው ውስጥ፣ ከጎህ ጀምሮ ሲጠብቅ የነበረ አንድ አውቶቡስ በመጨረሻ ሞልቶ ሊወጣ ክላክሱን ያስጮህባቸው ነበር።

የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ብዙ ሰው ቆሟል። ሹፌሯ የእጅ ሰዓቷን አይታ ፊቷን አጠቆረች። ወንድሟ በሩን ከፍቶ ገና ከመናገሩ በፊት ራሷ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ወደ ሰዎቹ ዞረች።

«ዘግይተናል። ይቅርታ አድርጉልን።»

ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። በዚያ ከተማ ስለ መዘግየት ይቅርታ ተጠይቆ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያወቀ አልተገኘም። አንድ በአንድ፣ ሳይጋፉ ገቡ።