ጎማ ያለው የሐይቅ ዳር ቤት

ኃይለ መስቀል ካልፈቀደ ዳላስ ካለው ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አንድም መኪና አይወጣም። ይህ ጉራ አይደለም። ከፓርኪንጉ መውጫ ላይ ካለችው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ቲኬት የሚቀበለውና አግዳሚውን ዘንግ የሚያነሳው እሱ ነው። ባለሥልጣን ይሁን የነዳጅ ጉድጓድ ባለቤት፣ እሱ ቁልፉን እስኪጫን ድረስ መሪውን እንደያዘ ይጠብቃል።

ችግሩ ለኃይለ መስቀል እውነት ብቻዋን አልጫ መሆኗ ነው። ስለዚህ ያብስራ የተባለው ጎረምሳ ልጁን ሀሴትን ሊጠይቅ ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ የጎረምሳውን አባት ከፍያለውን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ሽማግሌዎቹ ሐይቅ ዳር ያለው ቤቴ ይምጡ» አለው።

«የትኛው ሐይቅ?» አለ ከፍያለው።

«ሌዊስቪል ነዋ። ሳሎኔ ውስጥ ቁጭ ብለህ ዓሣው ሲዘል ታያለህ።»

ከፍያለውም በጉራ የሚበለጥ ሰው አልነበረም። «እንግዲያው እኔ ደግሞ ሙሽሮቹን የማንሸራሽራቸው በራሴ ሞተር ሆም ነው» ብሎ መለሰ። «አልጋ ያለው፣ ምድጃ ያለው፣ ሻወር ያለው መኪና። ድግሱም ዳላስ ውስጥ አለ በተባለው ትልቅ አዳራሽ ነው።»

ኃይለ መስቀል በልቡ ሳቀ። በጉራ ሙያ ቴክሳስ ውስጥ አቻ የለውምና፣ ከፍያለው ሞተር ሆም ቀርቶ የሞተር ሆም ጎማ እንደሌለው ዓይኑን አይቶ ፈረደ።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሽማግሌዎቹ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ይመጣሉ። ኃይለ መስቀል የሚኖረው ሌዊስቪል፣ አንድ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ ከሳሎኑ መስኮት የሚታየው የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው። እዚያ ውስጥ የሚዘል ነገር ቢኖር የሰው ካልሲ ነው።

ሞተር ሆም ወደሚሸጥበት ሲሄዱ መኪናውን የምትነዳው ሀሴት ነበረች። ሆስፒታል ትሠራለች፤ ውሸት ስትሰማ ግንባሯ ላይ አንዲት የደም ሥር ትነሳለች። አሁን የደም ሥሯ የአባይን ወንዝ አክላለች።

«ሶ አባባ፣ ቤት የለህም።»

«ማታ ይኖረኛል። ሞተር ሆም ቤት አይደለም? መኝታ አለው፣ ሳሎን አለው። ሐይቁ ዳር ፓርክ አደርገዋለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ይገባሉ፤ ዓሣው ይዘላል። ከዚያ በኋላ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?»

ሀሴት ሁለት የትራፊክ መብራት አለፈች። «ኦኬ» አለች በመጨረሻ። «ከገዛኸው ውሸት አይደለም። ካልገዛኸው ግን እውነቱን ትነግራቸዋለህ። አንድ፣ ማለቴ አንድ ውሸት ከነገርካቸው፣ ሰኞ ከያብስራ ጋር ኮርትሃውስ ሄደን እንፈርማለን። ሽማግሌ የለም። ምርቃት የለም።»

ቀልድ አልነበረም፤ ሀሴት በእናቷ ጥሩወርቅ ወጥታ አትቀልድም። እሱና ጥሩወርቅ የተጋቡት በስደት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ነበር። እሷን ለመጠየቅ ሽማግሌ የሚላክበት አባት በአካባቢው አልነበረም፤ የሚላክ ሽማግሌም አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ይመኛል፦ የተከበሩ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው «ልጅህን ለልጃችን» ሲሉት መስማት። ይህን ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ጉራ ሳይጨምር የሚያስበው ብቸኛው ነገርም ይኸው ነው።

የሞተር ሆም መሸጫው ግቢ ከአውራ ጎዳናው ዳር ነበር። ሙቀቱ ያን ቀን አስፋልቱን ወደ ገንፎ ለውጦታል። ነጋዴው ዳረል ይባላል፤ በባርኔጣው ጥላ ሥር አንድ ቶዮታ ፓርክ ማድረግ ይቻል ነበር።

«እዚህ ካሉት አንዱም የኔ አይደለም» አለ ዳረል። «ባለቤቶቹ አምጥተው ያቆሙልኛል፤ እኔ እሸጥላቸውና ኮሚሽኔን እወስዳለሁ። ኮንሳይንመንት ይባላል።»

«ደላላ ነህ» አለው ኃይለ መስቀል በአማርኛ፣ ደስ ብሎት። ከደላላ ጋር መከራከር የሚያውቀው ሥራ ነው።

ዳረል «ምናልባት መኪናችሁን ሰጥታችሁ ሞተር ሆሙን ብትወስዱ፣ ዋጋዋን ልገምትላችሁ» ብሎ የሀሴትን መኪና ቁልፍ ተቀበለና ለመካኒኩ ወረወረለት። መካኒኩ መኪናዋን ሊሞክራት ይዟት ከግቢው ወጣ።

ኃይለ መስቀል የመረጠው ሞተር ሆም ቡናማ መስመር ያለው ነበር። ከአፍንጫው እስከ ጭራው ለመድረስ ስንቅ መቋጠር ያስፈልጋል። ውስጡ ሶፋ አለው፤ ምድጃ አለው፤ በስተኋላ አልጋ አለው፤ በመሃል አንድ ሰው ትንፋሹን ከያዘ የሚያስገባ ሻወር አለው።

«ይኸ ነው» አለ። «ባለቤቱ ማነው?»

«ስሙን መናገር አልችልም። ልንገርህ ብልም አፌ አይጠራውም።»

ክርክሩ ተጀመረ። ኃይለ መስቀል ዋጋ ይጠራል፤ ዳረል ቢሮው ገብቶ ለባለቤቱ ይደውላል፤ ላቡን እየጠረገ ይመለሳል።

«የመጨረሻ ዋጋዬ ነው አለ።»

«የኔም የመጨረሻ ነው በለው።»

ዳረል ሄዶ ተመለሰ። «ይኸኛው የመጨረሻው የመጨረሻ ነው አለ።»

ኃይለ መስቀል ሰውየውን ወደደው። አሜሪካ ከመጣ ጀምሮ እንዲህ የሚመጥነው ተከራካሪ አጋጥሞት አያውቅም። ጎማውን ረገጠ፣ ጣሪያውን አንኳኳ፣ ትቶ የሚሄድ መስሎ እስከ በሩ ደርሶ ተመለሰ። ዳረል እንደገና ደወለ። ሲመለስ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

«እንዲህ ያለ ሻጭ በዕድሜዬ አላየሁም። ልጆች አሉት ወይ ብለህ ጠይቀው አለኝ። አንዲት ልጅ አለችው አልኩት። ያሳድግለት፣ ትንሽ ይጨምር አለኝ። የልጅህ ማደግና የሞተር ሆሙ ዋጋ ምን እንደሚያገናኛቸው ግን አልገባኝም።»

ኃይለ መስቀል ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ኮሽ አለ። ግን የክርክር ትኩሳት ላይ ነበርና አላዳመጠውም። «ሰውየው ይምጣ» አለ። «ባለቤቱን ፊት ለፊት ሳላይ አልገዛም።»

«በኛ አሠራር ሻጭና ገዢ አይገናኙም።»

«እንግዲያው አልገዛም።»

ዳረል እየተነጫነጨ ወደ ስልኩ ሄደ። ኃይለ መስቀል የወጥ ቤቱን መሳቢያዎች መክፈትና መዝጋት ጀመረ። ሁሉም የሎሚ ሽታ ባለው ማጽጃ ታጥበዋል። ከምድጃው አጠገብ ያለውን ሲከፍት ግን እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ከሎሚው ሥር ሌላ ሽታ ነበር። አጎንብሶ አፍንጫውን አስገባ። ንጥር ቅቤ ከነኮረሪማው። ማጽጃው ከኦክላሆማ የመጣ አፍንጫ ያታልል ይሆናል፤ የእሱን ግን አላታለለም።

«ሀሴት» አለ ቀስ ብሎ። «እስቲ ይኸን አሽትቺ።»

አሽትታ ቀና አለች። ተያዩ። በዚያው ቅጽበት ዳረል በሩ ላይ ብቅ አለ።

«ተሳካ። መንገድ ላይ ነው፤ ከመኪናው ስልክ ነው ያናገረኝ። ሳክሲ ከሚባለው ከተማ ነው የሚመጣው፤ አሁን ይደርሳል። ቃል በቃል ንገረው ያለኝንም ልንገርህ፤ እሱም ይተው፣ እኔም ልተው ብሏል።»

ዳረል ወጣ። ሀሴት ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ጋሽ ከፍያለው ሳክሲ ነው የሚኖሩት።»

ኃይለ መስቀል የዓለም ነገር ሁሉ አንድ ላይ ገባው። ለካ የከፍያለው ሞተር ሆም እውነት ነበር፤ ለካ እየሸጠው ነው፤ ለካ ነገ ሐይቁ ዳር ሽማግሌዎቹን ሊቀበልበት ያሰበው ቤት፣ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው የሚያውቁት የከፍያለው ቤት ነው።

«ቁልፍሽን ተቀበዪ፣ እንሂድ።»

«መኪናዬ የለችም። መካኒኩ ይዟት እንደወጣ ነው።»

በመስኮቱ አየ። ግቢው ባዶ ሜዳ ነው፤ ከአጥሩ ባሻገር መኪኖች የሚበሩበት አውራ ጎዳና ብቻ። ጥላ ለማግኘት እንኳ የሚጠጋበት ዛፍ አልነበረም። አንዲት ሰማያዊ መኪና ፍጥነቷን ቀንሳ ወደ በሩ ታጠፈች። የከፍያለውን መላጣ ከሩቅ ለየው።

«አባባ፣ እንዳታደርገው» አለች ሀሴት፣ ወዴት እንደሚያይ ስታይ።

እሱ ግን ትንፋሹን ይዞ ሻወሩ ውስጥ ገብቶ መጋረጃውን ስቦ ነበር።

የከፍያለው ጫማ ደረጃውን ሲረግጥ ሞተር ሆሙ እንደ መርከብ ዘነበለ። «ሄሎ» አለ በእንግሊዝኛ በነጋዴ ድምፅ፤ ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። «ሀሴት? አንቺ ነሽ?»

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሽ ከፍያለው።»

«ምን... ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?»

«ሰው ይዤ መጥቼ ነው።»

ከፍያለው ማንን ብሎ አልጠየቀም። ሶፋው ሲጨነቅ ተሰማ፤ ተቀመጠ። ሻወሩ ውስጥ ኃይለ መስቀል ላቡ ከግንባሩ ወደ ዓይኑ፣ ከዓይኑ ወደ ጫማው ይወርዳል። አንድ የውሃ ጠብታ ከላይ አናቱ ላይ ወደቀች፤ የናያጋራ ፏፏቴ የወረደበት ያህል ደነገጠ።

«ልጄ» አለ ከፍያለው፣ «አንድ ነገር ልለምንሽ። አየሽኝ፤ አየሽኝ እንግዲህ። እሸጠዋለሁ። አዳራሹን ተናግሬያለሁ፤ ሰው ሰምቷል፤ ሌላ መላ የለኝም። ያብስራም አያውቅም። ብቻ አባትሽ እንዳይሰማ። የሐይቅ ዳር ቤት ላለው ሰው ሞተር ሆም ሸጥኩ ብል፣ ከዳላስ እስከ ፎርት ወርዝ መሳቂያ ያደርገኛል።»

ኃይለ መስቀል አፉን በመጋረጃው አፍኖ ነበር። ሳቁ ሆዱን ሊያፈነዳው ደርሷል። ከፍያለው በእጁ ገባ። ትንሽ ቢታገስ፣ ይህ ሰው ወጥቶ ይሄዳል፤ እሱ ደግሞ ሞተር ሆሙን ትቶ፣ ነገ ሌላ ሰበብ ፈጥሮ፣ ይህን ሚስጥር ዕድሜ ልኩን ቀስ እያለ ይመነዝረዋል።

«አባቴ አይስቅብዎትም» አለች ሀሴት።

ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ውሸት የማትችለዋ ልጁ ይህን ያለችው ከክንድ ርቀት ላይ፣ መጋረጃው ሲንቀጠቀጥ እያየች ነው። ሳቁ ጉሮሮው ላይ ደረቀ። ልጁ ስለ እሱ ስትዋሽ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ውሸት ይሁን አይሁን የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው።

ኃይለ መስቀል መጋረጃውን ሲገልጥ ቀለበቶቹ ተንኳኩ። ከፍያለው ብድግ አለ።

«ኃይለ መስቀል? ሻወር ውስጥ ምን ትሠራለህ?»

ምላሱ ላይ ሰባት ውሸት ተሰልፎ ነበር። ቧንቧ ሲመረምር፤ ለጓደኛ ሲያይ፤ እጁን ሲታጠብ። የልጁን ግንባር አየ። የደም ሥሯ ተነስታ ትጠብቃለች።

«ተደብቄህ ነው» አለ። «ገዢው እኔ ነኝ። የሐይቅ ዳር ቤት የለኝም፤ ኖሮኝም አያውቅም። ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፣ ከልብስ ማጠቢያው ፊት ለፊት። ይኸን ገዝቼ ሐይቁ ዳር ላቆመውና ቤቴ ነው ልል ነበር።»

ከፍያለው አልሳቀም። ይህ ነው ያስፈራው። ዓይኑን ከእሱ ወደ ሀሴት፣ ከሀሴት ወደ እሱ መለሰ። «እንግዲህ ሽማግሌዎቹን ምን ልበላቸው?» አለ።

«የፈለግከውን በላቸው። ስቀህ ብትነግራቸውም ምንም አልልም።» ኃይለ መስቀል ከሻወሩ ወጣ። «ብቻ ከፍያለው፣ አይቅሩ። ይምጡልኝ።»

ደረጃው ሥር የዳረል ጫማ ጠጠሩን ሲያፋጭ ይሰማ ነበር። ከፍያለው ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

«የመጨረሻዬ ነው እያልክ ከቀትር ጀምሮ ደሜን ያፈላኸው አንተ ነህ?»

«ልጅህን ያሳድግልህ እያልክ የለመንከኝስ አንተ አይደለህም?»

«ክርክር ግን ታውቃለህ።»

«አንተም መጥፎ አይደለህም።»

ከፍያለው ወደ ሶፋው ተመለሰና ጉልበቱን መታ መታ አደረገ። «በል እንግዲህ» አለ። «አንተም ከሐይቁ ተው፣ እኔም ከአዳራሹ ልተው። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ይበቃናል። ይኸንንም አልሸጠውም፤ ሙሽሮቹ ይሂዱበት።»

ኃይለ መስቀል ተከራክሮ መዝጋት አመሉ ነውና፣ «ሐይቁን ልተው፤ ዓሣው ግን ይኑርልኝ» አለ።

«አባባ።»

«እሺ፤ ዓሣውንም ተውኩ።»

ዳረል ራሱን በበሩ አስገባ። «ተስማማችሁ?»

«ተስማምተናል» አሉ ሁለቱም።

«በስንት?»

«አይሸጥም» አለ ከፍያለው።

ዳረል ባርኔጣውን መሬት ላይ ጥሎ የረገጣት ያን ጊዜ ነው ይባላል። አንድ ጥግ ላይ ያለች ሥጋ ጥብስ ቤት ወስደው እንደ ሁለት በግ የሚሆን ጎድን ጋበዙት፤ እያላመጠ ይቅር አላቸው።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ሁለተኛ ፎቅ ወጡ። እንደ ወጉ «ለጉዳይ መጥተናል» ብለው ቆሙ፤ «ተቀመጡ» ቢባሉ እሺ አላሉም። የሚቀመጡበት ወንበርም ለአንዱ ይጎድል ነበርና፣ ለኃይለ መስቀል ወጉ የዚያን ዕለት ተስማማው።

ከሽማግሌዎቹ አንጋፋው ወደ መስኮቱ አንገታቸውን ሰገግ አደረጉ። ከታች የሰው አንሶላ ማሽን ውስጥ ይሽከረከራል። ከፍያለው አዳራሹ መቀየሩን እንጂ ሐይቁ መቅረቱን አልነገራቸውም ነበር።

«ሐይቁ በየት በኩል ነው ልጄ?» አሉ።

ሀሴት በኩሽናው በር ላይ ቆማለች። ኃይለ መስቀል አየት አደረጋት።

«ሐይቅ የለም፣ አባቴ» አለ። «ያለችኝ ልጅ ናት።»

አንጋፋው ራሳቸውን ነቀነቁና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኛም የመጣነው ለእሷው ነው» አሉ።