የሚናክሺ ደጃፍ

ወይንሀረግ የሚናክሺን ደጃፍ መጀመሪያ ያየች ዕለት መጥረጊያ ፈልጋ ጠርጋዋለች። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ እሷ ራሷም ኋላ አልደበቀችውም። ኦስሎ፣ ፉሩሴት በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ሜትሮው በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ ከረጅሙ ፎቅ ምድር ቤት ላይ በሩ በቀጥታ ወደ መንገዱ የሚከፈት አንድ መኖሪያ አለ። በዚያ በር ፊት፣ ከታዛው ሥር፣ ግራጫው ሲሚንቶ ላይ በነጭ ዱቄት የተሳለ፣ እየተጠማዘዘ ራሱ ላይ የሚመለስ መስመር አገኘች። ሆሳዕና ከተማ ተወልዳ በመዘምራን መካከል ያደገች ሴት ናት፤ ሰው በር ላይ ዱቄት የሚበትነው ለምን እንደሆነ ከልጅነቷ ጀምሮ ሲነገራት ኖራለች። «በኢየሱስ ስም!» ብላ ዘላ አለፈችው። እዚያ ቤት የሚኖሩትን አሮጊት የመንከባከብ ሥራዋን ጨርሳ ስትወጣ ግን አላስችል አላትና ጠረገችው።

በማግስቱ ያው መስመር እንደገና ተስሎ ጠበቃት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የቤቱ እመቤት ራሳቸው በሩን ከፍተው ቆመው ጠበቋት።

ሚናክሺ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ከደቡብ ሕንድ፣ ከታሚሎች አገር፣ ማዱራይ ከምትባል ከተማ አጠገብ ካለ መንደር ባላቸውን ተከትለው ከመጡ አርባ ዓመት አልፏል። ባላቸው ከሞቱ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። የእሳቸውም ልብ ደክሟል፣ እግራቸው ያብጣል። የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ በየጠዋቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈቅዶላቸዋል። በዚያች ሃያ አምስት ደቂቃ ወይንሀረግ አጥባ፣ መድኃኒት ሰጥታ፣ ያንን ጠባብ ካልሲ ጎትታ አልብሳ፣ ቁርስ አቅርባ፣ ሁሉንም ስልኳ ላይ መዝግባ ወደሚቀጥለው በር መሮጥ አለባት። እርጅናን በደቂቃ የሰፈረው ሰው ማን እንደሆነ እንጃ፤ ብቻ እሱ ራሱ አርጅቶ እንደማያውቅ ያስታውቃል።

«ሰይጣን አይደለም፣ ልጄ» አሉ ሚናክሺ በተሰባበረ ኖርዌይኛቸው። «ሩዝ ነው። ኮላም ይባላል። ጉንዳን ይበላዋል፣ ወፍ ይለቅመዋል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው አንድ ፍጥረት አብልተን ነው።»

«በዚህ ብርድ ጉንዳን ከየት ይመጣል?»

«አንቺ ከመጣሽ እሱም አይቀርም» አሉና ሳቁ።

ወይንሀረግ እፍረት ገደላት። የጠረገችውን አይተው እንደሆነ አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አላነሱባትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ያንን ደጃፍ ስትሻገር ጫማዋን ከፍ አድርጋ፣ መስመሩን እንዳትነካ እየተጠነቀቀች ሆነ። ቀስ በቀስም ሙያውን በዓይኗ ሰረቀች። መጀመሪያ ነጥቦች ይደረደራሉ። ከዚያ ዱቄቱ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል እየፈሰሰ መስመሩ ነጥቦቹን እየከበበ ይዞራል፤ አንዱንም ነጥብ አይነካም፣ በመጨረሻ ከተነሳበት ገብቶ ይዘጋል። እሑድ ስብከቱ ሲረዝም በመዝሙር ወረቀቷ ጀርባ ላይ ነጥብ ደርድራ ታዞርባቸው ጀመር። አጠገቧ የሚቀመጡት ሰዎች ማስታወሻ የምትይዝ መስሏቸው በመንፈሳዊነቷ ይቀኑ ነበር።

«በመንደራችን» ብለዋት ነበር አንድ ቀን ሚናክሺ፣ «ባሏ የሞተባት ሴት ደጃፍ ላይ እጇን እንድታሳርፍ አይፈቀድላትም። ገደቢስ ናት ትባላለች። እዚህ ማን ይከለክለኛል?»

ሌላ ቀን ደግሞ ወይንሀረግ ንጹሕ የሌሊት ልብስ ፍለጋ ቁም ሣጥኑን ስትከፍት፣ እጥፋታቸው ያልተፈታ ዘጠኝ ሳሪዎች ተደራርበው አየች። የማን እንደሆኑ ብትጠይቅ «የልጄ» አሉ። ፖንጋል በሚባለው የመኸር በዓላቸው፣ አዲሱ ሩዝ ከወተት ጋር ገንፍሎ እስኪፈስ በሚቀቀልበት ቀን፣ ወላጆች ላገባች ሴት ልጃቸው ስጦታ ይልካሉ። እሳቸው በየዓመቱ ገዝተው አስቀመጡ እንጂ አልላኩም። ለምን እንዳልላኩ አልተናገሩም፤ ወይንሀረግም ደቂቃዋ አልቆ ነበር።

ደቂቃ ባያጥራት ኖሮ ያመለጣትን ሁሉ ትሰማ ነበር። አንድ ጠዋት ካልሲውን ስትጎትት፣ ሚናክሺ ደጃፍ አፍ አለው ብለው ጀምረው ነበር። በአገራቸው ያልተሳለበት ደጃፍ ያየ ጎረቤት እዚያ ቤት ኀዘን ወይም በሽታ እንደገባ ያውቃል፣ ሳይጠራም ይመጣል፤ ይህን ነበር የሚሉት። በመሃል የወይንሀረግ ስልክ ጮኸ። እሷ ጆሮ የገባው ባዶ ደጃፍ ለቤቱ ነውር መሆኑ ብቻ ነው። በየጠዋቱ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሰባት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ አሮጊቷ ሁሉን ትተው መጋረጃው ጥግ ሄደው እንደሚቆሙም ታውቃለች። አየሩን የሚያዩ ይመስላት ነበር።

ጥር ገባ። በመጀመሪያው ቅዳሜ የሚናክሺ ሳንባ ውሃ ሞላ። ሆስፒታል እምቢ አሉ። ሐኪሙ መጥቶ አይቶ፣ የሚያስታግስ መድኃኒት ጽፎ፣ የቀራቸው ቀናት እንደሆኑ ለሠራተኞቹ ነገረ። ሰኞ ወይንሀረግ ከሰባት ሰዓት ቀደም ብላ ስትደርስ ደጃፉ ባዶ ነበር። የሞቱ መሰላት። ውስጥ ገብታ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ሲያቃስቱ አገኘቻቸው።

«ልጄን ጠርቻታለሁ» አሉ። ዓይናቸው ያበራ ነበር። «ዛሬ ትመጣለች።»

ወይንሀረግ በስልክ የጠሯት መሰላት። ሌላ ምን ይመስላታል? ዘጠኝ ዓመት ያልመጣች ልጅ ልትመጣ ነው፣ ደጃፉ ግን ባዶ፤ እናቲቱም ጎንበስ ማለት አይችሉም። አንዴ «እኔ ልሳልልዎት?» ብትላቸው «ይህ የቤቷ ሴት ሥራ ነው» ብለው መልሰዋታል። ስለዚህ አልጠየቀችም። በሩን ገርበብ አድርጋ ወጣች፣ ከበሩ ኋላ የሚቀመጠውን የዱቄት ጣሳ ይዛ በጉልበቷ ተንበረከከች፣ ነጥቦቹን ደረደረች። ጣቶቿ በብርድ ደንዝዘው መስመሩ አንድ ቦታ ነጥብ ነካባት። ቢሆንም ከተነሳበት ገብቶ ተዘጋ። እግዚአብሔር ያያል፣ የዚያን የመጀመሪያ ቀን መጥረጊያ የካሰች መሰላት። ሲያዩት ይደሰታሉ፣ ልጅቷ ትነግራቸዋለች ብላ ዝም አለች።

ልጅቷ አልመጣችም። ማክሰኞም ወይንሀረግ ነፋስ የበተነውን አድሳ ሳለች። ረቡዕም። በየቀኑ የሚናክሺ ትንፋሽ እያጠረ፣ ጥያቄያቸው ግን ያው አንድ ነበር።

«ደወሉ ጮኸ?»

«አልጮኸም፣ እማማ።»

ወይንሀረግ በዚያች በማታውቃት ሴት ላይ ዓይኗ ደም ለበሰ። ምን ዓይነት አንጀት ነው? እናት እየሞተች «ነይ» ስትላት፣ ሥራ በዛብኝ ብላ ትቀራለች? በሚቀጥለው ቤት ገንፎ እያማሰለች፣ በሜትሮው ውስጥ ቆማ፣ ያቺን ልጅ በልቧ ስትረግማት ዋለች።

ሐሙስ ፖንጋል ነበር። ወይንሀረግ ሳትተኛ ቀርታ ማለዳ መጣች፣ ትልቁን ሳለች፣ መካከሉን በእርድ ቢጫ፣ ዳርዳሩን ሚናክሺ ለበዓል ባስቀመጡት ቀይ ዱቄት ሞላችው። ቆንጆ ወጣላት። ገብታ እጇን ታጥባ፣ ቁርሱን አዘጋጅታ ወደ አልጋው ስትቀርብ ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሊሆን ነበር።

ሚናክሺ እጇን ያዙ። ድምፃቸው አልቋል፣ ጆሮዋን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረባት።

«አለፈች» አሉ፣ የግድግዳውን ሰዓት እያዩ።

«ማን አለፈች፣ እማማ?»

«ማላር። ልጄ። በየጠዋቱ በዚህ መንገድ ወደ ሥራዋ ታልፋለች።»

ከዚያ ቀስ እያሉ፣ ትንፋሽ እየለመኑ ነገሯት። ማላር የወደደችው ሰው ወገኖቹ በዘራቸው እንደ ዝቅተኛ ተቆጥረው በመንደራቸው የውሃ ጉድጓድ አጠገብ እንዳይደርሱ የሚከለከሉ ነበሩ። አባቷ ደፌን ብትረግጥ ሬሳዬን ረገጠች አለ። ሊሞት ሲል ደግሞ ሚስቱን እጁን አስይዞ፣ በአፍሽ አትጠሪያትም ብሎ አስማላት። «ኦስሎ ተቀምጠን የመንደራችንን ጉድጓድ እንጠብቃለን» አሉ ሚናክሺ። ማላር ከቤቱ በላይ ባለው ዳገት ላይ ቤት ተከራየች። በየጠዋቱ ሰባት ከሃያ ላይ ስታልፍ የጫማዋን ክር እንደሚያስር ሰው ጎንበስ ብላ ደጃፉን ታያለች። ኮላሙ ካለ እናቷ ደህና ናት፤ ትሄዳለች። እናቷም ከመጋረጃው ኋላ ታያታለች። ተነጋግረው የተስማሙበት ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ትኩሳት ይዟቸው ደጃፉ ባዶ የዋለ ቀን፣ ደወሉ ጮኸ፤ ሲከፍቱ በላስቲክ የታሰረ ብርቱካንና የትኩሳት መድኃኒት ደፉ ላይ አገኙ።

«በአፌ አልጠራትም ብዬ ምያለሁ» አሉ። «ደጄን ባዶ አልተውም ብዬ ግን አልማልኩም። አራት ቀን ባዶ ተውኩት። አራት ቀን አይታ አለፈች። ያኔ በአንድ ቀን ነበር የደወለችው።» ዓይናቸውን ጨፈኑ። «አልፈርድባትም። እኔም ዘጠኝ ዓመት አይቻት ዝም ብያለሁ።»

ጥሪው ባዶው ደጃፍ እንደነበረ ወይንሀረግ ያኔ ገባት። «እኔ ነኝ» የሚለው ቃል አፏ ላይ መጥቶ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ነበር የሚፈልገው። ፈራች። ከሥራ መባረሩን ፈራች፣ በሚሞቱ ሰው ዓይን መጠላቱን ደግሞ የበለጠ ፈራች። ነገ ጠዋት በር ላይ ቆሜ ልጅቷን እጇን ይዤ አመጣታለሁ፣ ያኔ ሁለቱም ፊት ተንበርክኬ እናዘዛለሁ ብላ ለራሷ ነገረች። ነገ የእሷ ይመስል።

ሮጣ ወጣች። መንገዱ ላይ ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሕዝብ ወደ ሜትሮው ይጎርፋል። የማላርን ፊት አታውቀውም። ተመልሳ ባልዲና ጨርቅ አመጣችና ያንን ሁሉ ቢጫና ቀይ በሁለት እጇ እያሸች አጠበችው። አምስት ደቂቃ ዘግይታ ወደሚቀጥለው ቤት ሄደች፤ ለምን እንደዘገየች ስልኳ ላይ መጻፍ ግዴታ ነበርና «በረዶ» ብላ ጻፈች።

ዓርብ ጠዋት ገና ከሜትሮው ሳትወርድ ማዕዶት ደወለችላት። ማዕዶት የሥራ ባልደረባዋና የነርስ ተማሪ ናት፤ ማታ ማታ ሚናክሺ ዘንድ የምትገባው እሷ ነበረች።

«ወይኒ፣ ሰማሽ? ሚናክሺ ትናንት በእኔ ቫክት፣ በማታው ተራዬ፣ አረፈች። ሐኪሙ መጥቶ አረጋግጧል፣ አስከሬኑን ወስደዋል። ሲስተሙ ላይ ዘመድ የሚለው ቦታ ባዶ ነው፤ የምንደውልለት ሰው የለም። ቁልፉና መድኃኒቱ እዚያው አለ፣ አንቺ ታመጪዋለሽ?»

«የተናገሩት ነገር ነበር?»

«አዎ፣ ስለ ደወሉ ጠየቀችኝ። ማንም አልደወለም አልኳት።»

ወይንሀረግ ባዶውን ደጃፍ ተሻግራ ገባች። አልጋው ተነጥፏል። የመድኃኒት ሣጥኑን ከረጢት ውስጥ ጨመረች፤ ሰዓቷን አየች። ሰባት ከሃያ ሲል ደወሉ ጮኸ። ጮኾም አላቆመም፤ የደወለው ሰው ጣቱን ከላዩ አላነሳም።

በሩ ላይ የሆስፒታል መታወቂያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ አርባ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማለች። ግንባሯ ቁርጥ የእናቷ ነው። እግሮቿ ከደፉ አንድ ስንዝር ወደኋላ ቆመዋል።

«እናቴ ምን ሆነች?»

ወይንሀረግ ነገረቻት። ማላር ባዶውን ሲሚንቶ እያየች ራሷን ነቀነቀች።

«ትናንት እኮ ስላ... ስላ ነበር» አለች፣ ምላሷ እየተሳሰረ። «በቀለም። የፖንጋልን። ደስ ብሎኝ በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ሰኞ አንድ ነጥብ ነክታ ነበር፤ እናቴ ነጥብ ነክታ አታውቅም፣ እጇ ደክሟል ብዬ ቀኑን ሙሉ ከፋኝ። ትናንት ግን ስላ ነበር። እንዴት በአንድ ቀን...»

«እኔ ነኝ የሳልኩት» አለች ወይንሀረግ። «ከሰኞ ጀምሮ እኔ ነኝ። አንቺ ስትመጪ ደጃፉ ባዶ እንዳይሆን ብዬ ነው። አላወቅኩም ነበር።»

ማላር ቀና ብላ አየቻት። ከኋላዋ ሰዎች ወደ ሜትሮው ያልፋሉ።

«እሷ ታውቅ ነበር?» አለች። «አንቺ እንደምትስይ?»

ወይንሀረግ መዋሸት ትችል ነበር። ትናንት የፈራችውን ነገር አሰበችና አልቻለችም።

«አያውቁም ነበር» አለች። «አይተሽ ያለፍሽ መስሏቸው ነው የሞቱት።»

ማላር እዚያው ባለችበት፣ እርጥበቱ በረዶ በሠራበት ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አለች። ወይንሀረግ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ግቢ፣ ብርድ ነው፣ እናትሽ ያስቀመጡልሽ ሳሪዎችም አሉ እያለች ለመነቻት። ማላር ግን ደፉን አልተሻገረችም።