በሰቀልማ ድልድይ ሥር ስለ ቆመችው ስለ ይርገዱ

ልብና ልቡና ያለህ፣ እብቁን ከፍሬው መለየት የምታውቅ አንባቢ ሆይ፤ ፈጣሪ ለአዳም ልጆች ካደላቸው ሀብታት ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀው ልክን የማወቅ ሀብት ነው፤ ኃያል ሰው ድንጋዩን ያነሣዋል፣ ባለጸጋ ሰው ድንጋዩን ያስነሣዋል፣ ድንጋዩ በየት በኩል እንደሚቀመጥና በተቀመጠበትም ስንት ዘመን እንደሚጸና አስቀድሞ የሚናገር ግን ልክን የተማረ ብቻ ነውና። ይህ ሀብት ሲታደል በጢምና በሹሩባ አልተከፈለም። እኛ ግን ፈጣሪ ያልከፈለውን መክፈል ስለሚቀናን ወንዱን ልጅ ወደ ግንቡ፣ ሴቲቱን ልጅ ወደ ጓዳው ሰደድን፤ ሰድደንም ስናበቃ፣ «በጓዳ ያደገች ስለ ግንብ ምን ታውቃለች?» ብለን በገዛ እጃችን በሠራነው ነገር ፈረድንባት። እኔ ይህን ፍርድ ከብዙ ሊቃውንት አፍ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁት ቁጥርም ደሜ ይፈላል፤ ስለዚህ የይርገዱን ታሪክ ሳልጽፍ ብዕሬን ላስቀምጥ አልወደድሁም።

ሰቀልማ የሚባለው ወንዝ፣ ክረምት በገባ ጊዜ ሁለቱን አውራጃ ቆርጦ የሚለያይ፣ ከሚሻገሩትም መካከል በየዓመቱ ጥቂቱን ሳያስቀር የማያሳልፍ፣ ጥልቅና ጨካኝ ወንዝ ነበር። የአገሩ ገዥ ደጃዝማች ወንድይራድ፣ ቁጣ የሚቀድማቸው ነገር ግን እውነት ሲነገራቸው ጆሯቸውን የማይደፍኑ ሰው፣ በዚህ ወንዝ ላይ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ እንዲሠራ ባዘዙ ጊዜ ሥራውን የሰጡት በግንበኝነት ስመ ጥር ለነበሩት ለሊቀ ጠበብት ዘድንግል ነው። በዚያ አገር ግንበኞች ዘንድ ከአባት የተወረሱ ሦስት ወጎች ነበሩ። አንደኛው፣ የሥራው ልክ ሁሉ ከአለቃው ክንድ ይወሰዳል፤ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ ያለው አንድ ክንድ ይባላል። ሁለተኛው፣ ሥራው በካህናት ሳይባረክ ሴት ከወሰን ድንጋዩ አልፋ ወደ መካነ ሥራው አትገባም። ሦስተኛውና የሚያስፈራው ደግሞ፣ ቅስቱን ያቀፈው የእንጨት ድጋፍ በሚነሣበት ቀን ዐዋጅ ነጋሪው በሕዝብ ፊት «ልኩ የማን ነው?» ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ «የእኔ ነው» ብሎ የመለሰውም ሰው ድጋፉ ተነሥቶ እስኪያልቅ ድረስ ከቅስቱ ሥር ይቆማል። ቅስቱ ከጸና ስሙ ይጸናል፤ ከፈረሰም ለሌላ ቅጣት የሚተርፍ አካል አይኖረውም።

የድልድዩ ምዕራባዊ እኩሌታ በሊቀ ጠበብት ዘድንግል ክንድ ተለክቶ በተፈጸመበት በየካቲት ወር፣ ሽማግሌው በድንገት ታመሙና ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሽባ ሆኑ። አለቅነቱም ከልጅነቱ ጀምሮ በቤታቸው ላሳደጉት ለደቀ መዝሙራቸው ለመርዕድ ተላለፈ፤ እርሱም ረዥም፣ ቅንና ትዕቢቱን በትሕትና ሸፍኖ የሚኖር ወጣት ነበር፤ ምሥራቃዊውን እኩሌታ እንደ ወጉ በራሱ ክንድ ለክቶ ሠራ። አሁን አንባቢ ሆይ፣ በዚያ አገር ከሁለት ሰዎች በቀር ማንም ያላወቀውን አንድ ምሥጢር ላስታውቅህ። ሊቀ ጠበብቱ ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው አንዲት ልጃቸውን ይርገዱን በመጀመሪያ ለጨዋታ ያህል ልክና ስሌት አስተማሯት፤ ጨዋታውም በዕድሜዋ ልክ አድጎ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት የአባቷን ስሕተት ታርም ጀመር፤ ከዚያ ወዲህ ባሉት ሰባት ዓመታት በሽማግሌው ስም የተሠራው ግንብ ሁሉ ልኩ የወጣው ከእርሷ ልቡና ነው። ልኩን እርሷ ታወጣለች፣ ስሙን እርሳቸው ይሸከማሉ፤ ሁለቱም በዚህ ለምደው ኖሩ፤ የለመዱት ነገር ሁሉ ግን ትክክል አልነበረም።

ድጋፉ እንዲነሣ የተቆረጠው ቀን የግንቦት ሚካኤል ነበር። ከዚያ በፊት በአምስተኛው ቀን መርዕድ የመምህሩን አልጋ ሊጠግን መጥቶ አንድ ሳንቃ በክንዱ ለካና «አራት ክንድ ነው» አለ። ይርገዱ ያንን ሳንቃ ታውቀዋለች፤ በአባቷ ክንድ አራት ክንድ ከአራት ጣት ነው። መርዕድ ከወጣ በኋላ መሬት ላይ ተቀምጣ አሰላች። የመርዕድ ክንድ ከአባቷ ክንድ በአንድ ጣት ይረዝማል፤ የቅስቱ እኩሌታ ዐሥራ ሁለት ክንድ ነው፤ እንግዲያው ምሥራቁ ከምዕራቡ በዐሥራ ሁለት ጣት፣ ማለት በግማሽ ክንድ በልጧል። በሥራ መካከል አለቃ የተለወጠበት ዘመን ከዚያ በፊት አልነበረምና ማንም ይህን ልብ አላለም። ድጋፉ ሲነሣ የረዘመው ምሥራቅ ይሰጥማል፣ ያጠረውን ምዕራብ ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ድልድዩም ከሥሩ በቆመው በመርዕድ ላይ ይወርዳል።

ለአባቷ በነገረቻቸው ጊዜ ሽማግሌው «ተሳስተሽ እንደ ሆነስ?» አሉ፤ ያልተሳሳተች መሆኗን ግን እርሳቸውም ያውቁ ነበር። በማግሥቱ በአባቷ ክንድ ልክ የተቋጠረውን ገመድ ይዛ እስከ ወሰን ድንጋዩ ወረደችና መርዕድን አስጠራችው። ክንዱን በገመዱ ላይ ሲዘረጋ የጣቱ ጫፍ ከቋጠሮው አንድ ጣት አለፈ። መርዕድ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሁለቱን እኩሌታ የሚያጋጥመውን መዝጊያ ድንጋይ ስናገባ ኖራው ለምን እንደ በዛብን አሁን ገባኝ» አለ በዝግታ፤ «ድጋፉ ይቆይ ብልም እታለም፣ የመጀመሪያው ጎርፍ እንጨቱን ይዞ ሲሄድ ቅስቱን አብሮ ያወርደዋል። ደጋው ጠቁሯል፤ ከሳምንት በላይ ቀን የለንም።» እርሷም «ሁለት ቀን ስጠኝ፤ እስከዚያ ማንም ድጋፉን አይንካ» አለችው።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ይርገዱ ያደረገችው ነገር፣ ላየው ሰው ሁሉ የሕፃን ጨዋታ ይመስል ነበር። ድንጋይ ተደግፎ የሚቆምበት መንገድ፣ ክር ተንጠልጥሎ ከሚወርድበት መንገድ ጋር አንድ ነው፣ ተገልብጦ ብቻ፤ ይህን እንደ አንገት ሐብል ተንጠልጥሎ የሚታይ እውነት ማንም ሳይነግራት ከብዙ ዘመን በፊት አስተውላው ነበር። ስለዚህ የቅስቱን ውፍረት ገልብጣ በደጃፉ ግድግዳ ላይ በከሰል ሥላ፣ በላዩ ክር ዘርግታ፣ በክሩ ላይ እንደ ቅስቱ ድንጋዮች ክብደት ጠጠር አሰረች፤ ምሥራቁን በመርዕድ ልክ አስረዘመችው፤ ክሩም ከቅስቱ ውፍረት ወጥቶ ወደ ጥፋት ሲያመለክት በዓይኗ አየች። ከዚያ በምዕራቡ በኩል አንድ ጠጠር ጨመረች፤ ደገመች፤ ሰለሰች፤ ክሩም ጥቂት በጥቂት እየተመለሰ በሠላሳ ስድስተኛው ጠጠር ከቅስቱ ውፍረት ውስጥ ገባ። አንድ ጠጠር አንድ የሰው ሸክም ድንጋይ ነው። መርዕድም በቃሏ መሠረት በቀሩት ቀናት ሠላሳ ስድስት ሸክም ድንጋይ በምዕራቡ ትከሻ ላይ አስቆለለ፤ ሠራተኞቹ ለምን ብለው ሲጠይቁትም «ጫኑ» ከማለት በቀር አልመለሰላቸውም።

በዋዜማው ቀትር ላይ ሊቀ ጠበብቱ ልጃቸውን አስቀርበው፣ ደኅና በቀረው ግራ እጃቸው እጇን ያዙ። «ልጄ፣ ከመርዕድ ጋር ተነጋግረናል። ነገ ዐዋጅ ነጋሪው ሲጠይቅ እርሱ ‹የእኔ ነው› ይላል፤ እርሱ ይቆማል። ፈቅዷል» አሏት። ይርገዱ መሬት መሬት እያየች፣ «አባቴ፣ ልኬ ትክክል ከሆነ መርዕድ አይሞትም፤ ስሕተት ከሆነ ደግሞ በእኔ ስሕተት መርዕድ ለምን ይሞታል?» አለች። ቀጥላም፣ «ደግሞም አልዋሽዎትም፤ ስሜን እፈልገዋለሁ። ሰባት ዓመት ሰጥቼዎታለሁ፤ በፍቅር ነው የሰጠሁት። ይኸኛውን ግን ለእኔ ይተዉልኝ» አለቻቸው። አባት ከልጁ ሕይወትና ከልጁ ስም አንዱን ምረጥ የተባለበት ቀን ምን ያህል እንደሚረዝም፣ ልጅ ያለህ አንባቢ አንተ ታውቀዋለህ። ሽማግሌው እስኪመሽ ድረስ እህል አልቀመሱም።

በሚካኤል ዕለት ማለዳ ሕዝቡ በወንዙ ግራና ቀኝ ሞላ፤ ካህናቱ በጥላ፣ ደጃዝማቹ በበቅሎ፣ ሊቀ ጠበብቱ በአልጋ ላይ ሆነው በሰው ሸክም መጡ፤ ሴቶቹ ከወሰን ድንጋዩ ወዲህ ቆሙ። በደጋው ላይ ነጐድጓድ ይሰማ ነበር። ዐዋጅ ነጋሪው «ልኩ የማን ነው?» አለ። መርዕድ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ከሄደ በኋላ ተመለሰ፤ ፈርቶ አልነበረም፣ ያፈረ ይመስለኛል። ሁለተኛ «ልኩ የማን ነው?» ተባለ። በዚህ ጊዜ ይርገዱ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ፣ የወሰን ድንጋዩን ተራምዳ፣ በተቀየመና በተደነቀ ሕዝብ ፊት እስከ ደጃዝማቹ በቅሎ ድረስ ሄዳ እጅ ነሣችና «የእኔ ነው» አለች። ከካህናቱ አንዱ ወጉ መሻሩን አመልክቶ ተቈጣ፤ ደጃዝማቹ በእጃቸው ዝም አሰኙትና ወደ መርዕድ ዞሩ። «እውነት ነው?» መርዕድም አንገቱን ደፍቶ «እውነት ነው ጌታዬ። እኔ አጣምሜው ነበር፤ ያቃናችው እርሷ ናት» አለ። ደጃዝማቹ ሽማግሌውን ተመለከቱ፤ ሽማግሌውም በአልጋቸው ላይ እየታገሉ ቀና ብለው፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እየሰማ፣ «የሰባቱ ዓመት ሥራዬም ልኩ የእርሷ ነው» አሉ፤ ከዚያም ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

ይርገዱ ከቅስቱ ሥር ቆመች። ድጋፉን የተሸከሙት ዐሥራ ስድስት ሽብልቆች ነበሩ፤ መርዕድና ሠራተኞቹ ከሁለቱም ወገን እየተቀባበሉ በመዶሻ ያወልቋቸው ጀመር። እስከ አምስተኛው ድረስ ምንም አልተሰማም። ስድስተኛው ሲወልቅ የኖራ ብናኝ በነጠላዋ ላይ ወረደ። በስምንተኛው ድንጋይ ከድንጋይ ጋር ሲፋጭ የሚሰማው ድምፅ፣ ያንን የሰማ ግንበኛ ሁሉ በሕልሙ የሚፈራው ድምፅ፣ ከምሥራቅ ትከሻ ተሰማ፤ ሠራተኞቹም መዶሻቸውን ይዘው ቆሙ። ይርገዱ ግን እኩሌታው ድጋፍ ወልቆ እኩሌታው ከቀረ ሸክሙ ወደ አንድ ወገን እንደሚያደላ ታውቃለችና ቀና ብላ፣ «አትቁሙ። ከምሥራቅ ሁለት፣ ከምዕራብ አንድ እያላችሁ ቀጥሉ» አለች። የመርዕድ እጅ በላብ እየራሰ መዶሻው ሁለት ጊዜ ሳተ። ዐሥራ አንደኛው ወለቀ፤ ዐሥራ አራተኛው ወለቀ፤ ሽማግሌው ፊታቸውን ገልጠው ማየት ፈሩ፤ አለማየትም ፈሩ። የመጨረሻው ሽብልቅ በወለቀ ጊዜ የእንጨቱ ድጋፍ አንድ ጣት፣ ከዚያም አንድ ጋት ዝቅ አለ፤ ቅስቱ ከላይ ብቻውን ቀረ፤ ጥልቅ ድምፅ አሰምቶም ተቀመጠ። በምሥራቁ ትከሻ የሣር ቅጠል የምታህል ቀጭን ስንጥቅ ተከፈተች።

ደጃዝማቹ «ውጪ ልጄ፣ በቃ» አሉ። ይርገዱ ግን አልወጣችም፤ ጎንበስ ብላ ሠራተኞቹ ከተዉት ባልዲ ኖራ በጣቷ ነክታ፣ በተጋደመው እንጨት ላይ ወጥታ፣ በስንጥቁ ጫፍ ላይ ምልክት አደረገችና፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ስንጥቋ መቆሟን ሳላይ አልወጣም» አለች። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ጠበቀ፤ ደጃዝማቹም ከበቅሏቸው ወርደው ጠበቁ። አንድ ሰው ዳዊቱን እኩሌታ እስኪደግም ያህል ከቆየ በኋላ ስንጥቁ ከምልክቱ አላለፈም። ያን ጊዜ ከሴቶቹ ወገን አንዲት እንስራ ያዘለች ልጃገረድ እንስራዋን አስቀምጣ የወሰን ድንጋዩን ተሻገረች፤ እናቷ ቀሚሷን ይዛ ነበር፣ ለቀቀቻት። ሁለተኛዪቱ ተከተለች፤ ከዚያም አምስት ሆነው በቅስቱ ሥር ተሰበሰቡና ቀና ብለው አዩ። «መቆሟን በምን አወቅሽ?» አለቻት አንዲቱ፤ ይርገዱም «ነይ፣ አንቺው እዪያት» ብላ ከፍ አድርጋ ያዘቻት። የተቈጣው ካህን ሊናገር ሲነሣ ደጃዝማቹ «ተዋቸው፤ ይማሩ» አሉት። እነሆ አንባቢ ሆይ፤ ሴት ልጆቹን ከሥራው ሜዳ ያራቀ ሕዝብ የድልድዩን እኩሌታ ብቻ ለክቶ በመላው ላይ የሚራመድ ነው።