ጣውንቴ ዝም ያለች ቀን

ባሌ ጣውንት ያመጣብኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ ነው። ሁለት የመሥሪያ ቤቱ ልጆች ከኋላ፣ እሱ ከፊት ሆነው ተሸክመዋት ገቡ። ጠፍጣፋ፣ ረጅም፣ ግራጫ ብረት። "ቀስ! ቀስ በሉ! ጠርዟን እንዳታስነኩት!" ይላል። እኔ ከገበያ ዕቃ ተሸክሜ ስገባ አንድ ቀን እንኳ "ቀስ" ብሎኝ አያውቅም።

"ምንድን ናት?" አልኩት።

"ሰርቨር ናት።"

"እሺ ሰርቨር ትሁን። እኛ ቤት ምን ልትሠራ መጣች?"

"ትቀመጣለች" አለኝ፣ እንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው ፈገግ ብሎ።

ተቀመጠች። የት? የኔን የስፌት ክፍልና ዕቃ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ዕቃ ቤቱን ባዶ አደረገና እዚያ ተከላት። የተባረሩት ባልዲዎችና ያረጁ ሻንጣዎች እኔ አልጋ ሥር ገቡ። ከዚያ ቁልፏን ሲጫናት፣ ኧረ የፈጣሪ ያለህ! ቤቱ ጣራውን ይዞ የሚነሣ መሰለኝ። ውስጧ ትንንሽ ማራገቢያዎች ተደርድረዋል፤ ሁሉም ባንድ ላይ ያፏጫሉ፣ ከሥራቸው ደግሞ ወለሉን የሚያንቀጠቅጥ ጉርምርምታ አለ። እሱ እጁን አጣምሮ ቆሞ ያዳምጣል፣ ልጁ መናገር የጀመረችለት አባት ይመስል።

እውነቱን ለመናገር ለምን እንዳመጣት ይገባኝ ነበር። ባሌ ጎልማሳነቱን የጨረሰው አንድ ትልቅ ድርጅት ውስጥ፣ መስኮት በሌለው ቀዝቃዛ ክፍል፣ የድርጅቱን መረጃ ከሚይዙት ከነዚህ ማሽኖች ጋር ነው። "ሐኪሙ" ነው የሚሉት። ጆሮውን ማሽኗ ላይ ለጠፍ ያደርግና "የዚች የግራ ማራገቢያዋ ታሟል፣ አይቆይም" ይላል፤ እንዳለውም አይቆይም። የመሥሪያ ቤቱ ልጆች በመሣሪያ ፈልገው ያላገኙትን እሱ በጆሮው ያገኘዋል እያሉ ያወሩለት ነበር። ኋላ ድርጅቱ መረጃውን ሁሉ "ደመና ላይ አወጣነው" አለና ክፍሉን ዘጋው። "ደመና ማለት ምንድን ነው?" ብዬ ብጠይቀው "እኔ የማልገባበት ክፍል ማለት ነው" አለኝ። እሱን ስልክ የሚያነሣ ሠራተኛ አደረጉት። ቀኑን ሙሉ "አቤት? አቤት?" ሲል ይውልና ሲገባ "የዛሬ ሰው አፉን ከፍቶ አይናገርም፣ ይጎርሰዋል ነገሩን" እያለ ያማርራል። ከተጣሉት ማሽኖች አንዷን ለምኖ ማምጣቱ ታዲያ ምን ይገርማል? ሆዴ አዝኖለት ነበር።

ግን ሆድ ያዝናል እንጂ ጆሮ አያዝንም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ደንበኛ የሚመጣው ቤቴ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ደሞዝ ስታሰላ የኖረች ማሽን የኛን ቤት ፎቶ እንድትጠብቅ ተቀጥራ፣ እኔ ከደንበኞቼ ጋር በምልክት ቋንቋ መነጋገር ጀመርኩ። አንዷ "ወፍጮ ከፈታችሁ እንዴ?" አለችኝ። ሌላዋ፣ ቀሚሷን ልለካት መርፌ በአፌ ይዤ ስንበረከክ፣ ብድግ አለችና "እናንተ መጀመሪያ አውሮፕላኑን አሳርፉት፣ እኔ ኋላ እመጣለሁ" ብላ ጠርዙ ያልታጠፈ ቀሚሷን ይዛ ወጣች። አልተመለሰችም።

ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ። ስጮህበት "እሺ" ይላል፣ በማግሥቱ ያው ነው። በመጨረሻ ቆሽቴ አረረና ፊቱ ቆምኩ።

"ስማ፣ እስከ ቅዳሜ ነው። ወይ ዝም ታሰኛታለህ፣ ወይ ታስወጣታለህ፣ ወይ እኔ የስፌት መኪናዬን ይዤ እህቴ ቤት እገባለሁ። ሦስት ምርጫ ሰጥቼሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ዴሞክራሲ እኔ ጋ የለም።"

ቀልድ እንዳይደለ ገባው። ፊቱ ልውጥ አለ። "ዝም አሰኛታለሁ" አለኝ። "እሷንም አንቺንም አላጣም።" ከጣውንቴ ጋር ባንድ ዓረፍተ ነገር መደረቤ ቢያናድደኝም ያችን ቃል ወድጃታለሁ።

ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ዕቃ ቤት ነው። ያረጀ የመኪና ጎማ ካላማዳሪ ቆርጦ ከሥሯ አነጠፈላት። ግድግዳውን በወፍራም ጨርቅ አለበሰው፤ ጨርቁ የኔ ነው፣ ይሁን አልኩ። ማራገቢያዎቹን እየፈታ አጸዳ፣ ሁለቱን ለወጠ። ጆሮውን ይለጥፋል፣ ቡሎን ያጠብቃል፣ ደግሞ ይለጥፋል። እራት ላይ ፊቱ ሲበራ አየዋለሁ። "እየተሻላት ነው፣ በየቀኑ እየተሻላት ነው" ይለኛል። እኔ ለውጡ ብዙም አልታየኝም፤ ግን በሥራ መሐል ሰው አይነካም፣ ቅዳሜ ይምጣ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም።

ቅዳሜ ጠዋት እጄን ይዞ ወሰደኝ። እጄን ከያዘኝ ስንት ጊዜው! የዕቃ ቤቱን በር በቀስታ ከፈተ፣ የተኛ ሕፃን ያለበት ክፍል እንደሚከፈት።

ጉርምርምታው የለም። እሱ እውነት ነው፣ ወለሉ መንቀጥቀጡን ትቷል። ፉጨቱ ግን እንዳለ ነው። እንዲያውም ጉርምርምታው ሲነሣለት ራቁቱን ወጥቶ እንደ ወስፌ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ልናገር አፌን ስከፍት፣ ባሌ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። አንሾካሾከ! ምን እንዳለ የገባኝ ከከንፈሩ ነው።

"ሰማሽ? ዝም አሰኘኋት።"

"ትቀልድብኛለህ?" አልኩት።

"ምን?"

"እኔን ማሞኘትህ ነው? ሳምንት ሙሉ ጠብቄህ፣ ጨርቄን ቀደህ፣ አሁን ፊቴ ቆመህ ዝም አለች ትለኛለህ?"

"አላለችም?" አለኝ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀርቷል፣ ማንሣቱን የረሳው ይመስላል። እኔ ግን ያን ጊዜ ፊት የማይበት ዓይን አልነበረኝም። ስፌት ክፍል ገብቼ መኪናዬን መሸፈን፣ ክርና መቀሴን ቅርጫት ውስጥ መወርወር ጀመርኩ። እሱ በር ላይ ቆሞ "ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ እንጂ፣ ምን አጠፋሁ?" ይላል።

በዚህ መሐል ነው ልጃችን የገባችው። መነጽር ቤት ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ ጋ ትመጣለች። ቅርጫቴን አየች፣ አባቷን አየች፣ ከግድግዳው ማዶ የሚያፏጨውን ሰማች።

"አባትሽ ይቀልድብኛል" አልኳት። "ይህን እየሰማ ዝም አለች ይለኛል።"

"እማዬ፣ አባዬ መቼ ቀልድ ያውቃል?" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ተረት እንኳ ሲያወራ መጨረሻውን አስቀድሞ ነው የሚናገረው። ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "እኛ መነጽር ቤት በየቀኑ እንዲህ ያሉ ሰዎች ይመጣሉ። 'ዓይኔ ምንም አልሆነም' ይሉና ለግድግዳው መስታወት ሰላምታ ይሰጣሉ። አይዋሹም እኮ፣ አያውቁም።"

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ እጄ ላይ ያለውን መቀስ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ሳሎን ወሰደችው። በሩን ዘጋችና ስልኳን አወጣች፤ ድምፅ ከወፍራም እስከ ቀጭን ተራ በተራ የሚያሰማ ነገር አለ። "ስትሰማ እጅህን አንሣ አባዬ" አለችው።

"ሐኪሙን ልትመረምሩ ነው?" ብሎ ሳቀ። ደስ ብሎት ተቀመጠ፣ ጀርባውን ቀጥ አድርጎ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ። ይህን ፈተና እንደሚያልፍ እርግጠኛ ነበር። ዓለም ላይ የሚተማመንበት አንድ ነገር ቢኖር ጆሮው ነው።

ወፍራሙ ድምፅ ሲመጣ እጁ ወዲያው ወጣ። ቀጥሎ ያለውም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። ድምፁ እየቀጠነ ሲሄድ እጁ ዘገየ። ከዚያ አልተነሣም። ልጄ ጨመረችው፤ ድምፁ ጥርሴን እስኪያመኝ ድረስ ያፏጫል። ያው የጣውንቴ ፉጨት ነው፣ እርግጡን ለመናገር። ባሌ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ይጠብቃል። ቤቱ በፉጨት ተሞልቶ እሱ በትዕግሥት ልጁን ያያታል።

"ቀጥይ እንጂ ልጄ" አላት። "ምን ትጠብቂያለሽ?"

የልጄ ዓይን በእንባ ተሞላ። እሱ ወደኔ ዞረ፤ እኔም ፊቴን የማደርግበት አጣሁ። እሷን አየ፣ ደግሞ እኔን አየ፣ ከዚያ ስልኩን አየ።

"እየጮኸ ነው?" አለ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀችለት።

አንጀቴን የበላው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። "እኔ እኮ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ነበር" አለ፣ ለማንም ሳይሆን። "ማራገቢያ ስለውጥ ቀነሰች፣ ቡሎን ሳጠብቅ ቀነሰች። እጄ ገና አልደከመም አልኩ። መሥሪያ ቤትም አዲሶቹ ማሽኖች ሲመጡ 'እነዚህስ ምንም ድምፅ የላቸውም፣ ዘመን ተሻሻለ' እል ነበር። ልጆቹ ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።" ከዚያ ቀና አለና ጠየቀኝ። "ስልክ ላይ የሚያወሩኝ ሰዎችስ? አጥርተው ነው የሚናገሩት?"

ምን ልበለው? "አላውቅም" አልኩት። አውቅ ነበር።

ጆሮ ሐኪም ጋ ሦስታችንም ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ፣ ቃሉን እየለየች ነገረችው። ቀጭኑ ድምፅ ነው ቀድሞ የሚሄደው፤ የሄደው አይመለስም። ዕድሜውን የኖረበት ጩኸት ቀስ እያለ በልቶታል። የቀረው ግን ብዙ ነው፤ የጆሮ መሣሪያም ይረዳዋል፤ ቤት ውስጥ ጩኸት አለ ወይ ብላ ጠየቀችው። ባሌ እኔን አየኝ። "አለ" አላት። "እንዲጠፋ አድርጉ፣ የቀረውን ጠብቁት" አለችን።

ያሸነፍኩት እኔ ነኝ እንግዲህ። እንዲህ ያለውን ማሸነፍ ለጠላቴም አይስጠው። መንገድ ላይ እኔ ራሴ ነኝ ለጣውንቴ ጠበቃ የቆምኩላት። "ጓሮ እናውጣት፣ ቆርቆሮ እንሥራላት፣ እዚያ ትጩህ" አልኩት።

"ጓሮ ብትሆንም ሄጄ ጆሮዬን እለጥፍባታለሁ" አለኝ። "ራሴን አውቀዋለሁ። ትጥፋ።"

ቤት እንደገባን ዕቃ ቤቱን ከፈተ። እንዲሁ ከግድግዳ አልነቀላትም። ፎቶዎቻችንን ወደ ትንሽዬ ዲስክ ገለበጠ፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በወጉ እንድትተኛ አዘዛት። መብራቶቿን እያየ ጠበቀ። እኔ በር ላይ ቆሜያለሁ። ፉጨቱ ወረደ፣ ወረደ፣ ተንጠባጠበ፣ ቆመ። እሱ አሁንም መብራቶቹን ያያል።

"ቆመች?" አለኝ።

"ቆመች" አልኩት። ቤቱ እንዴት ጸጥ እንዳለ! የጎረቤት የውኃ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማኛል። ስንት ጊዜ የተመኘሁት ጸጥታ ነበር፤ ሲመጣ ግን የምቆምበት ጠፋኝ።

ወንበሩን ወደ ግድግዳው አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። "እዚያው ሁኚና የሆነ ነገር ተናገሪ" አለኝ። "ፊትሽን ካየሁ አፍሽን አነበዋለሁ። ስንት ዓመት እንደዚያ ሳደርግ እንደኖርኩ እንጃ። እስቲ እንዲሁ የሚሰማኝ ምን ያህል እንደሆነ ልወቀው።"

"አይዞህ" አልኩት በቀስታ። "እኔ አለሁልህ። የትም አልሄድም።"

ጠበቀ። ጀርባው አልተንቀሳቀሰም።

"በይ እንጂ" አለኝ። "መቼ ነው የምትጀምሪው?"

ካለኝ ቃል ሁሉ ያንኑ ነበር እንዲሰማልኝ የፈለግሁት። አየር ሳብኩና ያለኝን ድምፅ በሙሉ አወጣሁት።

"አንተ ሰው! ያንን ካላማዳሪ ከወለሉ ላይ ማን እንዲያነሣልህ ነው? ጨርቄንስ? ለቀሚስ የገዛሁትን ጨርቅ ለግድግዳ ታለብሳለህ? ሻንጣው ሁሉ አልጋዬ ሥር ተከምሮ እንደ አይጥ ልኑር?"

ትከሻው ተነቃነቀ። እየሳቀ ነው። "ይኸኛው ገባ!" አለ። "አንድም ቃል አልቀረኝም። ቀጥይ!"

ቀጠልኩ። ባልዲዎቹን አነሣሁበት፣ የማይታጠፉ ሸሚዞቹን፣ በር ላይ የሚጥላቸውን ጫማዎች፣ የወንድሙን ሠርግ ረስቶ የዋለበትን ቀን። እንባዬ አገጬ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፣ እሱ ይስቃል፣ እኔ ዞሮ እንዳያየኝ ቁጣዬን አላቆምኩም።