ጥለቱ ወደ ላይ

አስረሳሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ነጠላ ዘቅዝቃ አታውቅም። የአክስቷ ልጅ የተቀበረ ቀን እንኳ፣ ለቀስተኛው ሁሉ ነጠላውን ገልብጦ ጥለቱን ወደ ትከሻው ሲያወጣ፣ እሷ ጥለቷን እንደ ሰርገኛ ወደ ታች ለቃ ከሰው ጀርባ ቆማ ነበር። ሴቶቹ በክርን ተጎሻሸሙ። አንዷ ደፈር ብላ፣ "ምነው አስሬ፣ ለሥጋሽ እንኳ?" ብትላት፣ "እኔ ቤት የሞተ የለም" ብላ አፏን አስያዘቻት። ከዚያ ወዲህ ቆቦ ላይ ማንም አልጠየቃትም። ወላጆቿ ከእሷ በፊት የሞተባቸውን ልጅ ታስረሳን ብለው ነው ይህን ስም ያወጡላት። እነሱንስ አስረስታ ይሆናል፤ ለራሷ ግን መርሳት የሚባል ነገር አልተሰጣትም።

የማትረሳው ደጀንን ነው፣ አንድ ልጇን። ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ከጓደኛው ከአላምረው ጋር በጅቡቲ አድርጎ ሳዑዲ ሊገባ ከቤት ወጣ። ከባሕሩ ዳር አንዴ ደወለላት። "እማ፣ ደላላው ስልካችንን ሊሰበስብ ነው። ስሻገር እደውላለሁ፤ አታስቢ" አላት። አልደወለም። ዓመት ቆይቶ አላምረው ከሳዑዲ እስር ቤት ተጠርዞ ሲመለስ፣ ገና ከአውቶቡሱ ሳይወርድ ደርሳ እግሩ ላይ ወደቀች። ልጁ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። "ባሕሩ ዳር ተለያየን እትዬ" አላት ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። "እሱ በሌላ ጀልባ ነው የሄደ። ይኖራል። እስር ቤት ይሆናል፣ እዚያ ደግሞ ስልክ የለም።"

ይህችን "ይኖራል" ይዛ ተቀመጠች። ከስደት ተመላሽ መጣ በተባለ ቁጥር ዋጃ ትወርዳለች፣ ሮቢት ትሄዳለች፣ የደጀንን ፎቶ ከጉያዋ አውጥታ ከመኪና የሚወርደውን ሁሉ "ይህን ልጅ አይታችኋል?" ትላለች። ፎቶው ከመታሸቱ ብዛት አንድ ጆሮው ጠፍቷል። ሰዎች ያዝኑላታል። አንዳንዱም የሚያውቃት ሰው ስትመጣ መንገድ ይሻገራል፤ ይህንንም አይታለች፣ ሰው የሰው ችግር ሲሰለቸው እንዲህ ነው ብላ አለፈችው።

የፎቶ ውድድሩን ነገር ያመጣችው አሚና ናት። አሚና ጎረቤቷ ናት፤ ገበያ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላት፣ ስለ ልብስ ሲሆን ደግሞ አፏ አያርፍም። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጥታ የጋናውን፣ የማሊውን፣ የኬንያውን የባህል ልብስ እያገላበጠች አሳየቻት። መላ አፍሪካ በአገር ልብሱ ፎቶ ተነስቶ የሚወዳደርበት ነው አለቻት፤ ዳኛው ሕዝብ ነው፣ ብዙ ሰው የወደደው ያሸንፋል።

"ማነው የሚያየው?" አለች አስረሳሽ፣ ለወሬ ያህል።

"ማን የማያየው አለ? ዐረብ አገር ያሉት ልጆቻችን ውለው የሚያድሩት እዚህ ላይ አይደል እንዴ!"

አሚና ይህን ከአፏ እንዳወጣች ተጸጸተች። ግን አልፏል። አስረሳሽ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

"እኔ ብነሳ ደጀን ያየኛል" አለች።

"ኧረ ተይ እህቴ፣ የልጆች ጨዋታ እኮ ነው..."

"ያየኛል አሚና። እሱ ባያየኝ አብሮት ያለው ያየኛል። 'ይቺ እኮ እናትህ ናት' ይለዋል።"

"አላህ ያውቃል" አለች አሚና። ስልኩን መቀነቷ ውስጥ ወሽቃ፣ ምጣድ ጥጄ ነው የመጣሁ ብላ ሄደች። ምጣድ አልጣደችም ነበር።

በማግስቱ አስረሳሽ ከሳጥኗ ጥልፍ ቀሚሷን አወጣች፣ የእናቷን የብር ድሪ አንገቷ ላይ አደረገች፣ ጸጉሯን ተሠራች። አላምረው ከስደት ከተመለሰ ወዲህ ባጃጅ ነው የሚነዳው፤ እሷን አስከፍሏት አያውቅም። ፎቶ ቤት አድርሰኝ ስትለው ሞተሩን አጠፋ።

"ይቅርብዎ እትዬ። ፎቶ ምን ሊያደርግልዎ?"

"ልጄ አይቶኝ ይደውላል፤ ሌላ ምን ያደርግልኛል?"

አላምረው መሪውን ጨበጠ። ላቡ ከጆሮው ሥር ይወርዳል። የቆቦ ፀሐይ ማንንም በላብ ያጠምቃል፣ እሷም ከዚያ አልፋ አላሰበችም።

"እትዬ አስረሳሽ፣ እኔ ኮ..."

"ምን?"

"ምንም። አቧራ ነው፣ ድሪዎን ይሸፍኑት" ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ፎቶ አንሺው ናትናኤል ይባላል። እናቱ የሮቢት ሰው ናት፣ እሱ ግን አዲስ አበባ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ነው፤ አውራ ጎዳናው ዳር ፎቶ ቤት ከከፈተ ግማሽ ዓመት አይሞላውም። ጨዋ ልጅ ነው፣ ሥራውንም ይወዳል። አስረሳሽን ሲያያት ተነስቶ እጁን አጨበጨበ። "የራያ እናት ማለት እንዲህ ነው!" አለ። እሷ የምታስበው ሌላ ነበር። ካሜራው ውስጥ ደጀን አለ ብላ ዓይኗን ልትተክልበት፣ "አለሁልህ፣ ደውል" ልትለው መንገድ ሙሉ ስትለማመድ ነው የመጣችው።

"ዓይኔ በደንብ ይታያል?" ብላ ጠየቀችው።

"ከምንም በላይ እሱ ነው የሚታየው እናቴ። ብቻ ጥለቱ እታች ተቆርጦ እየቀረብኝ ነው። ቀለሙ ወደ ፊትዎ ቢመጣ..." አለና፣ እሷ ካሜራውን እንዳየች፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አንስቶ ገለበጠው። ጥለቱን ወደ ላይ አውጥቶ አንገቷ ዙሪያ አስተካከለላት። ወደ ካሜራው ተመልሶ ለብርሃኑ ሙከራ አንድ ጊዜ ተጫነ።

አስረሳሽ ዝቅ ብላ ትከሻዋን ያየችው በዚያው ቅጽበት ነው።

"ምን አደረግኸኝ!" ብላ ነጠላውን ከላይዋ መነጨቀችው። "ይኼ የለቅሶ ነው! ልጄ በሕይወት እያለ ታዘቀዝቀኛለህ? ሟርተኛ!"

ናትናኤል ደነገጠ። እግሯ ላይ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። አላወቅሁም እናቴ፣ በስመአብ፣ አላወቅሁም አለ። እሷ ሦስት ጊዜ እትፍ እትፍ ብላ ነጠላውን አራግፋ ጥለቱን ወደ ታች አድርጋ ለበሰች። "ያቺን አጥፋት" አለችው። "አጠፋታለሁ" አላት። ከዚያ አርባ ጊዜ አነሳት።

ሊያጠፋትም አስቦ ነበር፤ ይህን ሁሉ እሷ በኋላ ነው የሰማችው። አርባዎቹን ደርድሮ ሲያያቸው ሁሉም ላይ አንዲት ለመታወቂያ የተቀመጠች፣ ትንፋሿን የያዘች ሴት ነበረች። የመጀመሪያዋ ላይ ግን ዓይኗ ፈጥጦ፣ አፏ ሊከፈት ሲል፣ የጥለቱ ቀይና አረንጓዴ ፊቷን ከብቦት፣ ያየው ሰው ዓይኑን መንቀል ያቅተዋል። ናትናኤልም አቃተው። አክራና ናይሮቢ ያለ ሰው የጥለት አወጣጥ ምን ያውቃል ብሎ ያቺኑ ላካት። ቆቦም ስልክ እንዳለው ዘነጋ።

ቅዳሜ ጠዋት ደወለላት። "ወጣ እናቴ! አራት ሺህ ሰው ወዶታል! ከሳዑዲ ብቻ ስንቱ መሰለዎት!" አላት። አስረሳሽ የያዘችውን መጥረጊያ ጣለች። ሳቀች፣ ጎረቤት ሄዳ ስልኳን አስሞላች። ስልኩን ብብቷ ውስጥ አድርጋ የደጀንን መደብ ጠረገች፣ አንሶላውን አውጥታ ፀሐይ ላይ ዘረጋች። ስልክ ሊዋስ ይሆናል፣ አሠሪው እስኪፈቅድለት ይሆናል፣ እያለች ሰዓቱን ትቆጥራለች። እንደማትቆጣው ለራሷ ቃል ገባች። ሦስት ዓመት የት ጠፋህ አትለውም። በላህ ወይ ብቻ ነው የምትለው። እንዲህ ተስፋ አድርጋ አታውቅም፣ ተስፋው ራሱ ደረቷን ያማት ነበር።

ወደ ቀትር ላይ ከመንደሩ ጫፍ ዋይታ ተሰማ። ጆሮዋን ጣለች። የብዙ ሴት ድምፅ ነው፣ እየቀረበ ነው። "ደግሞ የማን ቤት ፈረሰ?" አለችና፣ ዛሬ ደስ ያላት ሴት ናትና፣ ለመሄድ አልሰነፈችም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኳ መኖሩን ዳብሳ ወደ በሩ ወጣች። አሚና ከፊት ናት፣ ከኋላዋ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች፣ ሁሉም ዘቅዝቀዋል።

"ማን ሞተ አሚና?" አለቻት።

አሚና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን! እንኳን ተረዳሽ እህቴ፣ እንኳን ወጣልን! ፊትሽን ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ተቃጥሎ አለቀ። ከፋሲካ በኋላ ትረዳ አልን፣ አዝመራው ይግባላት አልን፣ ክረምቱ ይውጣላት አልን፣ እንዲህ እያልን ሁለት ዓመት! ማነው ያረዳሽ? ሽማግሌ ሳይሰበስብ፣ እኛን ሳይጠራ፣ ለብቻሽ የሚያረዳ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው?"

"ማንን ነው የተረዳሁት?" አለች አስረሳሽ።

የአሚና ክንድ ላላ። ወደ ኋላ ብላ አየቻት። ነጠላዋን አየች፣ ጥለቱ ወደ ታች ነው። ዋይታው ቆመ። አንዷ ሴት በእጇ የያዘችውን ስልክ ልትደብቅ ስትል አስረሳሽ ቀማቻትና ራሷን አየች፣ እንደ ሙሾ አውራጅ አፏን ከፍታ፣ ጥለቷ አንገቷ ላይ ወጥቶ።

"ስህተት ነው!" አለች። ሳቅ ሊቀድማት ነበር። "ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ነው የዘቀዘቀኝ፤ አጥፋት ብዬው ነበር! ስህተት ነው፣ ደጀን ደኅና ነው። ሂዱ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ። ዛሬ ይደውልልኛል።"

በስህተት የመጣ ለቀስተኛ ያፍራል፣ እግዜር ይይልህ ይላል፣ ፎቶ አንሺውን ይራገማል። እነዚህ ግን አልተንቀሳቀሱም። አንዷም ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም። አስረሳሽ ከፊት ወደ ፊት ስትመለከት ቆየች። ዋጃ ስትወርድ፣ ሮቢት ስትመላለስ፣ መንገድ የሚሻገሩባት ሰዎች ትዝ አሏት። ሰልችቷቸው አልነበረም።

"ማን ነገራችሁ?" አለች ቀስ ብላ።

ሁሉም ወደ መንገዱ ዞሩ። ባጃጁ ቆሟል። አላምረው ፎቶውን አይቶ፣ ሰው ቀድሞኝ አረዳት ብሎ፣ ተሳፋሪዎቹን መሐል መንገድ አውርዶ ነው የመጣው። ገና ፊቷን ሲያይ ነገሩ ገባው፣ ተንበረከከ።

"አንድ ጀልባ ላይ ነበርን እትዬ" አለ። "ተገለበጠች። እጁን ይዤው ነበር። እስከሚያቅተኝ ይዤው ነበር።"

ለቅሶ የጠበቁ ሴቶች ሊደግፏት ቀረቡ። አላለቀሰችም። እጇን ዘርግታ ከለከለቻቸው።

"ቀኑን ንገረኝ" አለችው።

"እትዬ..."

"ቀኑን!"

"ሚያዝያ ሃያ ሦስት" አለ። "ጊዮርጊስ። ጠዋት ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ።"

አስረሳሽ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለች። ያን ጠዋት ያስታወሰችው ወዲያው ነው። ጊዮርጊስ ደጅ ነበረች፤ ሌሊቱን ልጇ ተሻግሮ ስታይ አድራ፣ ሕልሟ እውነት ነው ብላ አምና፣ ነጭ ለብሳ ከሁሉም ቀድማ ሄዳ ነበር። ታቦቱ ሲወጣ ከሴቶቹ ሁሉ የእሷ ድምፅ ይበልጥ ስለነበር ሰው ዞሮ ያያት ነበር።

"እልል ስል ነበር አሚና" አለች። "ፀሐይ ስትወጣ ጀምሬ፣ ድምፄ እስኪዘጋ ድረስ እልል ስል ነበር የዋልሁ።"

አሚና አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ያዘቻት። ያን ጊዜ ነው አስረሳሽ የጮኸችው።